«የሚያቆም» ወይስ «ሊያቆም የሚችል»? ረዳት ግሦችና የዓባይ ውሎች

አንድ ግሥ ስላመጣው ጣጣ ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለን ውጫሌ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ፣ አፄ ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ሮም ግን የራሷን ቅጂ ይዛ «ግዴታቸው ነው» አለች። ነገሩ ዓድዋ ላይ ለየለት።

በዓባይ ጉዳይም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ ብዙ አይወራለትም እንጂ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የሱዳንን ድንበር ውል ፈረሙ። በ3ኛው አንቀጽ፣ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥታት ጋር ሳይስማሙ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውሃውን ፍሰት የሚያቆም ሥራ እንዳይሠሩ ቃል ገቡ። በእንግሊዝኛው «የሚያቆም» ለሚለው የገባችው ረዳት ግሥ «ዉድ» ናት።

እና ምን ይሁን? እስቲ ሞጣ አካባቢ ያለውን ሰባራ ድልድይ እናስብ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት ይህ የዓባይ ድልድይ ጎጃምን ከበጌምድር ሲያገናኝ ኖሯል። ድልድይም እኮ በወንዝ ላይ የተሠራ ሥራ ነው። ውሃው ግን በቅስቶቹ ሥር ስለሚያልፍ ክልከላው አይነካውም። በ«ዉድ» ፋንታ «ኩድ» ወይም «ማይት» ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ክልከላው «ሊያቆም የሚችል» ሥራን ሁሉ ይይዝ ነበር። ያኔ ክርክሩ «ውሃው ይቆማል ወይ?» መሆኑ ቀርቶ «ቢቆምስ?» ይሆናል። ስጋት ደግሞ ማለቂያ የለውም።

በ2007 ዓ.ም. ኢትዮጵያ፣ ሱዳንና ግብፅ ካርቱም ላይ በፈረሙት የመርሆዎች ስምምነት ደግሞ ወሳኟ ቃል «ሻል» ናት። አገሮቹ ጉልህ ጉዳት እንዳይደርስ ተገቢውን እርምጃ ሁሉ «ይወስዳሉ»፤ ግዴታ ነው ማለት ነው። «ሹድ» ቢሆን ምክር ብቻ ይሆን ነበር። ልብ በሉ፤ «ሻል» ያሰረችው እርምጃ መውሰድን ነው። «ምንም ጉዳት አይደርስም» የሚል ዋስትና አልተሰጠም።

ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ወጥመዱ «ይችላል» ላይ ነው። አቅምንም፣ ፈቃድንም፣ ምናልባትንም በአንድ ቃል እንገልጻለን። መደበኛ እንግሊዝኛ ግን ብዙውን ጊዜ ይለያቸዋል፤ ለአቅም «ካን»፣ ለፈቃድ «ሜይ»፣ ለምናልባት «ማይት»። «ሜይ» ራሷም ፈቃድና ምናልባትን ስለምትደርብ በውል ውስጥ ጥንቃቄ ትሻለች። ግዴታ ሲሆን «ማስት» ወይም «ሻል» ነው።

ስለዚህ ውልም ሆነ መመሪያ በእንግሊዝኛ ስትጽፉ፣ ከግሡ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ሰውዬው ይህን ባያደርግ ይጠየቃል? መልሱ «አዎ» ከሆነ «ሜይ» አትጻፉ። «አይጠየቅም» ከሆነ ደግሞ «ሻል» ብላችሁ ሳታስቡት አትሰሩት። ፊርማው ካረፈ በኋላ «እንዲህ ማለቴ ነበር» ማለት ምን ያህል ውድ እንደሆነ ውጫሌ አሳይቶናል።