በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃና የበርሜሉ ጥራት

በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ባሩዱንም እርሳሱንም ከፊት በኩል የሚቀበል መሣሪያ ነው። ቀለህ አይገባበትም፤ ከኋላ የሚከፈት በርም የለውም። ተኳሹ የተለካ ጥቁር ባሩድ በአፈሙዙ ያፈሳል፤ ድቡልቡሉን እርሳስ ቅባት በነካው ቁራጭ ጨርቅ ጠቅልሎ በመጎስጎሻ ዘንግ እስከ ግርጌው ይገፋዋል፤ ከዚያም ባሩዱን በባልጩት ፍንጣሪ ወይም በትንሽ የመዳብ ቆብ ይለኩሰዋል። ይህ ጠመንጃ በ19ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ከጦር ሜዳ ቢወጣም፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ዛሬም ለአደን፣ ለዒላማ ውድድርና ለታሪክ ትዕይንት ይሠራል፣ ይሸጣል። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የመሣሪያው ዋጋ ያለው ከውጭ በማይታየው ክፍል፣ በበርሜሉ ሆድ ውስጥ ነው። የገዢውን ዓይን ቀድሞ የሚይዘው ግን የሰደፉ እንጨትና የናስ ጌጡ ነው። ሰደፍ ቢሰነጠቅ ይጠገናል፤ ቃታ ቢላላ ይለወጣል። ውስጡን ዝገት የበላው ወይም አንድ ቦታ ላይ ያበጠ በርሜል ግን፣ መልኩ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ግድግዳ ላይ ከመሰቀል አያልፍም። ደግሞም «ጥሩ በርሜል» የሚባለው ለሁሉም ነገር ጥሩ የሆነ አይደለም፤ ለየትኛው ጥይት ጥሩ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ከጠፍጣፋ ብረት እስከ ጠመዝማዛ ቦይ

የቀድሞው አንጥረኛ በርሜል የሚያወጣው ከጠፍጣፋ ብረት ነበር። ብረቱን በዘንግ ዙሪያ እየጠቀለለ፣ በእሳት እያጋለ፣ ጠርዙን ከጠርዙ ጋር በመዶሻ ቀጥቅጦ ያጣብቀዋል። በአንድ ግለት የሚጣበቀው ጥቂት ጣት ያህል ብቻ ስለሆነ ሥራው ደጋግሞ ማጋልን ይጠይቃል። አንዲት ቦታ በወጉ ሳትጣበቅ ብትቀር ጉድለቷ ከዓመታት በኋላ፣ በተኩስ ሰዓት ሊገለጥ ይችላል። ከዚያ ውስጡ በመሰርሰሪያ ይስተካከላል። ቀጥ ማለቱ የሚፈተነው በዓይን ነው፤ በርሜሉን ወደ ብርሃን አቅንቶ ውስጠኛው ግድግዳ ላይ የሚወድቀውን ጥላ ማየት። ጥላው ከታጠፈ በርሜሉም ታጥፏል።

ጠመዝማዛ ቦይ በበርሜል ውስጥ መቅረጽ የተጀመረው በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ16ኛው መጀመሪያ በደቡብ ጀርመን አካባቢ ነው። ቦዩ እርሳሱን እያሽከረከረ ያስወጣዋል፤ የሚሽከረከር እርሳስም መንገዱን አይስትም። ሆኖም ለረጅም ጊዜ የወታደሩ ጠመንጃ ውስጡ ልሙጥ ነበር፤ ልሙጡ ቶሎ ይጎርሳል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። በ1541 ከክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ ጋር ወደ ኢትዮጵያ የገቡት 400 ያህል ፖርቱጋሎች የታጠቁትም በሚጤስ ገመድ የሚለኮስ፣ ሆዱ ልሙጥ የሆነ ነፍጥ ነበር።

በ18ኛው መቶ ዘመን ከጀርመንኛ ተናጋሪ አገሮች የፈለሱ አንጥረኞች ጥበቡን ወደ ፔንሲልቬንያ፣ በተለይም ወደ ላንካስተር አካባቢ ወሰዱት። አጭሩንና ወፍራሙን የጀርመን አዳኞች ጠመንጃ አስረዝመውና አቅጥነው፣ በርሜሉ ብዙ ጊዜ ከ1 ሜትር የሚበልጠውን የአሜሪካ ረጅም ጠመንጃ አወጡ። የዚያ ዘመን ምርጥ በርሜል ስምንት ጎን አለው፤ ግርጌው ይወፍራል፣ ወገቡ ይቀጥናል፣ አፈሙዙ ላይ ሲደርስ መልሶ ትንሽ ይሰፋል። ውበቱ የታወቀ ነው፤ ጥቅሙ ግን ሚዛኑ ላይ ነው። ጠመንጃው ርዝመቱ እያለ ወደ ፊት አይደፋም። ዛሬም በእጅ የሚሠሩ ጠመንጃዎችን የሚያዝ ሰው ለዚህ ቅርጽ ተጨማሪ ገንዘብ ይከፍላል፤ የሚገባው ክፍያ ነው።

ጥምዙና ጥይቱ

የቦዩ ጥምዝ የሚለካው አንድ ሙሉ ዙር ለመዞር በሚፈጅበት ርዝመት ነው። ድቡልቡል እርሳስ ርዝመቱና ውፍረቱ እኩል ስለሆነ ዝግ ያለ ሽክርክሪት ይበቃዋል። ለ50 ካሊበር (12.7 ሚሊሜትር) ድቡልቡል እርሳስ የሚመረጠው በ66 ኢንች፣ ማለትም በ168 ሳንቲሜትር ገደማ አንድ ዙር የሚዞር በርሜል ነው። ጥይቱ በረዘመ ቁጥር ፈጣን ሽክርክሪት ይፈልጋል፤ እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አልፍሬድ ግሪንሂል በ1879 ይህን ዝምድና በቀመር አስቀምጦታል። ለዚህም ረጃጅም ጥይት የሚተኩሱት የዛሬዎቹ የአደን ጠመንጃዎች በ28 ኢንች (71 ሳንቲሜትር) አንድ ዙር ይዞራሉ።

በሁለቱ መካከል 48 ኢንች አለ። በ1970 የአሜሪካው ቶምፕሰን ሴንተር ኩባንያ ያወጣውና በሴንት ሉዊስ ወንድማማች ጠመንጃ ሠሪዎች በጄኮብና በሳሙኤል ሆውከን ስም የጠራው ጠመንጃ የመረጠው ይህንን ነው። ድቡልቡሉንም አጭሩንም ሾጣጣ ጥይት ያስተናግዳል፤ ሁለቱንም ግን ለየብቻቸው የተሠራውን በርሜል ያህል አያስተናግድም። ምን እንደሚተኩስ አስቀድሞ ያወቀ ገዢ ይህን መሐል ሰፋሪ ቢተወው ይሻለዋል።

ከጥምዙ እኩል ክብደት ያለው የቦዩ ጥልቀት ነው፤ ሻጮች ግን ስለዚህ እምብዛም አያነሱም። በጨርቅ የሚጠቀለል እርሳስ ቦዩን ራሱ አይነካም፤ ቦዩን የሚይዘው ጨርቁ ነው። ስለዚህ ጨርቁ የሚገባበትና የባሩዱ ጥላሸት የሚያርፍበት ሩብ ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ጥልቀት ያስፈልጋል። ጨርቅ የማያስፈልገው ሾጣጣ ጥይት ግን በተኩሱ ግፊት ራሱ ሰፍቶ ቦዩን መሙላት ስላለበት፣ አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ያህል ጥልቀት ይበቃዋል። ጥልቅ ቦይ ያለው በርሜል በሾጣጣ ጥይት ዒላማ ቢስት ጥፋቱ የበርሜሉ አይደለም።

ይህን ትምህርት የጦር ታሪክም ያሳያል። ፈረንሳዊው መኮንን ክሎድ ኤቲየን ሚኒዬ በ1840ዎቹ መጨረሻ ግርጌው ባዶ የሆነ ሾጣጣ እርሳስ አወጣ፤ በቀላሉ ይጎርሳል፣ ሲተኮስ ግን ሰፍቶ ቦዩን ይይዛል። እንግሊዞች ለዚህ ዓይነት ጥይት በ1853 የኤንፊልድን ጠመንጃ ሠሩ፤ ካሊበሩ 0.577 ኢንች (14.7 ሚሊሜትር)፣ ቦዩ ሦስት፣ ጥምዙ በ78 ኢንች አንድ ዙር ነበር። ዝግ ያለው ጥምዝ ለአጭሩ ጥይት በቂ ነበር። መካኒኩ ጆሴፍ ዊትዎርዝ በፊናው ካሊበሩን ወደ 0.451 ኢንች (11.5 ሚሊሜትር) አጥብቦ፣ የበርሜሉን ሆድ ስድስት ጎን አድርጎ፣ በ20 ኢንች አንድ ዙር አዞረው። በዒላማ ኤንፊልድን ጥሎት ሄደ። ሠራዊቱ ግን ጠባቡ ሆዱ በጥላሸት ቶሎ ስለሚደፈንና ዋጋው ስለሚወደድ አልተቀበለውም። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1860 በዊምብልደን የመጀመሪያውን የብሔራዊ ውድድር ስትከፍት የተኮሰችው በዚሁ የዊትዎርዝ ጠመንጃ ነበር።

የኤንፊልዱ በርሜል ከኢትዮጵያ ታሪክም ጋር ይገናኛል። በ1866 እንግሊዞች በአሜሪካዊው ጄኮብ ስናይደር ዘዴ የኤንፊልዱን በርሜል ከግርጌው ቆርጠው ከኋላ የሚከፈት በር ገጠሙለት። በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ናፒየር ወደ መቅደላ ሲዘምት እንግሊዛውያን እግረኞቹ የያዙት ይህንን ነበር፤ አሮጌ በተባለው ስፍራ የገጠማቸው የአፄ ቴዎድሮስ ነፍጠኛ ደግሞ በአብዛኛው በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ የያዘ ነበር። አንዱ ባሩድ እስኪጎሰጉስ ሌላው ደጋግሞ ይተኩሳል። «ሰናድር» የሚለው ስም የመጣው ከስናይደር ነው። ስለዚህ በቀደመው አሠራር ከተለወጡት ሰናድሮች አንዱ በእጁ ያለ ሰው፣ በርሜሉ መጀመሪያ በአፈሙዝ እንዲጎርስ የተሠራ መሆኑን ልብ ይበል።

ብረቱና ማኅተሙ

ዛሬ በርሜል የሚወጣው ከድፍን የብረት ዘንግ ነው። ቦዩ በቢላ እየተፋቀ ሊቀረጽ ይችላል፤ ጠንካራ ቡሽ መሰል መሣሪያ በግፊት አልፎ ሊያትመውም ይችላል፤ በከባድ መዶሻ ከውጭ ተቀጥቅጦም ሊወጣ ይችላል። በየትኛውም ዘዴ ጥሩም መጥፎም በርሜል ይወጣል፤ ለይቶ የሚያሳየው የሆዱ ልስላሴና ከግርጌ እስከ አፈሙዝ ስፋቱ አንድ መሆኑ ነው። ስለ ብረቱ ዓይነት ግን ያልተቋጨ ክርክር አለ። ለመቅረጽ እንዲቀል እርሳስና ድኝ የተጨመረበትን ለስላሳ ብረት ብዙ በርሜል ሠሪዎች ይጠቀማሉ፤ አንዳንድ የብረት ባለሙያዎች ደግሞ ድንገተኛ ግፊት ሲደርስበት ይሰነጠቃል ብለው ይቃወማሉ። ገዢ የብረቱን ዓይነት የመጠየቅ መብት አለው፤ መልስ የማይሰጥ ሻጭ ሲገጥም ማለፍ ይሻላል።

ብረቱን ገዢው ራሱ ሊፈትን ስለማይችል የማኅተም ጥቅም ትልቅ ነው። የለንደን ጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበር ቻርተሩን ያገኘው በ1637 ነው፤ የበርሚንግሃም መፈተኛ ቤት በ1813 በሕግ ተቋቋመ። በነዚህ ቤቶች በርሜሉ ከተለመደው በላይ በሆነ ባሩድ ይተኮሳል፤ ካልተሰነጠቀና ካላበጠ ማኅተም ይመታበታል። በ1914 በቤልጅየም ሊዬዥ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን የአባል አገሮችን ማኅተሞች አንዱ የሌላውን እንዲቀበል አደረገ። ጣሊያን በጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ ባለው መፈተኛ ቤቷ የፈተና ዓመቱንም ትመታለች፤ ቀድሞ በሮማውያን ቁጥር ነበር፣ ከ1975 ወዲህ በሁለት የላቲን ፊደላት ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እንዲህ ያለ ፈተና አያስገድድም፤ በዚያ የገዢው ዋስትና የሠሪው ስም ነው።

ከመግዛት በፊት

ያገለገለ ጠመንጃ ሲታይ መጀመሪያ የሚጣራው መጉረስ አለመጉረሱ ነው። ጎርሶ የተረሳ ጠመንጃ ብዙ ነው፤ አያት የሞላውን የልጅ ልጅ ይሸጠዋል፣ ጥቁር ባሩድም ደረቅ ከሆነ ለረጅም ዘመን ኃይሉን ይይዛል። አፈሙዙን ከሰው አርቆ፣ ዘንጉን ቀስ አድርጎ እስከ ግርጌው መስደድ፣ አፈሙዙ ጋ ምልክት ማድረግ፣ ከዚያም ዘንጉን ከውጭ በበርሜሉ ጎን መለካት ነው። ጫፉ የእሳት ቀዳዳው ወይም የቆቡ ጡት አጠገብ መድረስ አለበት። ጥቂት ሳንቲሜትር ከጎደለው ውስጡ የሆነ ነገር አለ፤ ይህን የሚያወጣው ባለሙያ ነው።

ቀጥሎ ጠበቅ ያለ ንጹሕ ጨርቅ በዘንግ ጫፍ ይገፋል። እጅ ከዓይን የተሻለ ያውቃል። ጨርቁ በአንድ ዓይነት ግፊት ከሄደ የበርሜሉ ሆድ እኩል ነው። ድንገት ከላላና መልሶ ከጠበቀ እዚያ ቦታ እብጠት አለ፤ ብዙውን ጊዜ የሚፈጠረው እርሳሱ ባሩዱ ላይ ሳያርፍ፣ በመካከል ክፍተት ትቶ ሲተኮስ ነው። እንዲህ ያለው በርሜል በርካሽም አይገዛም። ጨርቁ እየተያዘ ወይም እየተቀደደ ከወጣ ደግሞ ዝገት ጉድጓድ ቆፍሯል። ዝገቱ የሚብሰው ግርጌው ጋ ስለሆነ በትንሽ መብራት እስከ ታች ማየት ያስፈልጋል። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከግማሽ በላይ ክብደቱ ጠጣር ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል፤ ዝቃጩ ከአየር እርጥበት ይስባል። ባለቤቱ በዚያው ቀን በሙቅ ውኃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ዘይት ካልቀባው ብረቱ መበላት ይጀምራል።

የአፈሙዙ ጠርዝም ትልቅ ነገር ነው። እርሳሱ ከበርሜሉ የሚሰናበተው እዚያ ነው፤ ለዓመታት በዘንግ ፍትጊያ በአንድ ጎን ከተበላ ጥይቱ ወደ ጎን ይሄዳል። ይህ ግን ሌላው ክፍል ደህና ከሆነ የሚጠገን ጉድለት ነው፤ ዋጋ ለማስቀነስም ይረዳል። የግርጌው ብሎን ከላላ፣ ዙሪያው ጥቁር የጋዝ ምልክት ካለው ወይም ጥርሱ በማይመች መፍቻ ከተበላሸ ግን ባለሙያ ሳያየው መተኮስ የለበትም።

ገበያው ዛሬ

የጥንታዊ ጠመንጃዎች የዘመኑ ቅጂ ገበያ የተስፋፋው ከ1950ዎቹ ጀምሮ ነው። ተርነር ኪርክላንድ በ1954 በቴነሲ ዩኒየን ሲቲ ዲክሲ ገን ዎርክስን አቋቋመ፤ በ1957 ዳቪዴ ፔደርሶሊ በጋርዶኔ ሥራ ጀመረ። በ1985 የወጣው የአሜሪካው ናይት ኤምኬ 85 ማቀጣጠያውን ከባሩዱ ኋላ በቀጥታ አስቀመጠ፤ አዳኞች ወደዱት፣ የጥንቱን አሠራር የሚያከብሩ ተኳሾች ግን እስከ ዛሬ አይቀበሉትም። በ1933 የተመሠረተው የአሜሪካ በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ማኅበር በኢንዲያና ፍሬንድሺፕ የሚያካሂደው ውድድር በርሜል ሠሪና ገዢ ፊት ለፊት የሚገናኙበት ነው፤ ለጀማሪ ከማንኛውም ሱቅ የተሻለ ቦታ ነው።

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። በ1968 የወጣው የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ሕግ ለጥቁር ባሩድ የተሠሩና ቀለህ የማይጎርሱ ጠመንጃዎችን በአብዛኛው እንደ ጥንታዊ ዕቃ ያያቸዋል፤ አንዳንድ ክፍላተ ግዛት ግን ከዚህ ይጠብቃሉ። በጀርመን አንድ ጥይት ብቻ የሚተኩሰውን የድሮ ዓይነት አዋቂ ሰው ያለ ፈቃድ ሊገዛ ይችላል፤ ባሩዱን ለመግዛት ግን ፈቃድ ያስፈልገዋል።