የዋጋ ጣሪያና የወጪው ተሸካሚ
ብሪታንያ የቤተሰብን የኃይል ሂሳብ ለመግታት ያደረገችው ጥረት

የኤሌክትሪክና የጋዝ አገልግሎት እንደ ውሃና እንደ እህል ለኑሮ አስፈላጊ ከሆነ ወዲህ፣ ዋጋው የሻጭና የገዢ ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊቀር አልቻለም። የማሞቂያውና የምድጃው ሂሳብ ከቤተሰብ አቅም በላይ ሲሆን ሕዝብ ፊቱን ወደ መንግሥት ያዞራል፤ መንግሥትም ብዙውን ጊዜ መልስ የሚሰጠው የዋጋ ጣሪያ በመወሰን ነው። ይሁን እንጂ ጣሪያው የሚገታው በሂሳቡ ወረቀት ላይ የሚጻፈውን ዋጋ እንጂ ኃይሉን አምርቶ ለማድረስ የሚጠይቀውን ወጪ አይደለም። ከጣሪያው በላይ የሚቀረውን ወጪ አንድ ወገን መሸከሙ የግድ ነው። ይህ ወገን ማን እንደሆነ ለመረዳት የብሪታንያ ታሪክ ብዙ ትምህርት ይሰጣል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቁጥጥር ወደ ውድድር

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ጀምሮ የብሪታንያ የጋዝና የኤሌክትሪክ አገልግሎት በመንግሥት ይዞታ ሥር ቆይቶ፣ የጋዙ ድርጅት በ1986፣ የኤሌክትሪክ አከፋፋዮቹ ደግሞ በ1990 ለግል ባለአክሲዮኖች ተሸጡ። ያለተወዳዳሪ የሚሠራ ኩባንያ ዋጋውን እንዳሻው እንዳይጨምር፣ የኢኮኖሚ ሊቁ ስቴፈን ሊትልቻይልድ በ1983 ለስልክ አገልግሎት ያቀረቡት ቀመር በጋዝና በኤሌክትሪክም ላይ ሥራ ላይ ዋለ። በቀመሩ መሠረት የዓመቱ የታሪፍ ጭማሪ፣ ከአጠቃላዩ የችርቻሮ ዋጋ ንረት ላይ የተወሰነ መቶኛ ተቀንሶ ከሚገኘው አኃዝ መብለጥ አይችልም ነበር። ስለዚህም ትርፉን ለማሳደግ የፈለገ ኩባንያ ወጪውን መቀነስ ይኖርበታል።

በ1998 የጋዝ፣ በ1999 የኤሌክትሪክ ደንበኞች ሁሉ አቅራቢያቸውን የመምረጥ መብት አገኙ። ውድድሩ ራሱ በቂ መከላከያ ይሆናል ተብሎ ስለታመነም በ2002 የችርቻሮ ዋጋ ቁጥጥሩ ተነሣ። ነገር ግን አብዛኛው ቤተሰብ አቅራቢ ከመለወጥ ይልቅ በነበረበት ጸና። ኩባንያዎቹም አዲሱን ደንበኛ በርካሽ ታሪፍ እየሳቡ፣ የቆየውን በውዱ ታሪፍ ያስከፍሉት ጀመር። የአገሪቱ የውድድርና የገበያ ባለሥልጣን በ2016 ባወጣው የምርመራ ውጤት፣ ከስድስቱ ታላላቅ ኩባንያዎች ደንበኞች 70 በመቶ ያህሉ በዚሁ ውድ ታሪፍ ሥር እንደሚገኙና፣ ቤተሰቦች በዓመት በአማካይ 1.4 ቢሊዮን ፓውንድ ከሚገባው በላይ እንደሚከፍሉ አስታወቀ።

የፖለቲካው መድረክም ተለወጠ። በ2013 የተቃዋሚው የሌበር ፓርቲ መሪ ኤድ ሚሊባንድ ቢመረጡ የኃይል ዋጋን ለ20 ወራት ባለበት እንደሚያቆሙ ቃል በገቡ ጊዜ፣ ገዢው የኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ አጥብቆ ነቅፏቸው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የዚያው ፓርቲ ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬሳ ሜይ የዋጋ ጣሪያን ሐሳብ ተቀበሉ። ሕጉ በሐምሌ 2018 ጸድቆ፣ ከጥር 1 ቀን 2019 ጀምሮ 11 ሚሊዮን ያህል ቤተሰቦችን የሚመለከት ጣሪያ ተደነገገ።

የጣሪያው አሠራር

በብዙዎች ዘንድ ጣሪያው ቤተሰቡ የሚከፍለውን ጠቅላላ ሂሳብ የሚወስን ይመስላል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። የተወሰነው የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋና የቀኑ ቋሚ ክፍያ ሲሆን፣ ብዙ የተጠቀመ ብዙ ይከፍላል። በጋዜጣ የሚነገረው አኃዝ፣ ለምሳሌ የመጀመሪያው 1,137 ፓውንድ፣ በዓመት 12,000 ኪሎዋት ሰዓት ጋዝና ወደ 3,000 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ለሚጠቀም ቤተሰብ የተሰላ ምሳሌ ነበር።

ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍጄም ይህን ዋጋ የሚያወጣው የጅምላ ግዢውን፣ የማስተላለፊያና የማከፋፈያ መስመሩን፣ የአስተዳደሩንና የመሳሰለውን ወጪ ደምሮ፣ በዚያን ጊዜ 1.9 በመቶ የነበረውን ትርፍ በመጨመር ነው። ስሌቱ ይታደስ የነበረው በየስድስት ወሩ ሲሆን፣ የጅምላ ዋጋውም የሚወሰደው ካለፉት ወራት አማካይ ነበር። የቁጥጥር ሥርዓቶችን የሚያውቅ መሐንዲስ በዚህ ውስጥ ያለውን አደጋ ለማየት አይቸገርም፤ የሚለካው ነገር በቀናት ውስጥ የሚለዋወጥ ሆኖ ማስተካከያው ከወራት በኋላ የሚደርስ ከሆነ፣ በመካከሉ የሚፈጠረውን ልዩነት የሚሸከም አካል ያስፈልጋል።

የ2021 እና የ2022 ፈተና

በ2021 አጋማሽ የጋዝ የጅምላ ዋጋ ባልታየ ፍጥነት መውጣት ሲጀምር፣ ልዩነቱን በመጀመሪያ የተሸከሙት አቅራቢዎቹ ነበሩ። ጋዙን አስቀድመው በውል ያልገዙት ኩባንያዎች በውድ ገዝተው በጣሪያው ዋጋ በኪሳራ መሸጥ ግድ ሆነባቸው፤ በአንድ ዓመት ውስጥም 30 ያህሉ ከሥራ ወጡ። ወደ 1.6 ሚሊዮን ደንበኞች የነበሩት በልብ የተባለው ኩባንያ በኅዳር 2021 በመንግሥት ገንዘብ በሚደገፍ ልዩ አስተዳደር ሥር ወደቀ። የአገሪቱ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት በ2022 እንደገለጸው፣ በልብን ሳይጨምር የሌሎቹ መውደቅ ያስከተለው ወጪ 2.7 ቢሊዮን ፓውንድ፣ ማለትም ለአንድ ቤተሰብ 94 ፓውንድ ያህል ሲሆን፣ ይህም በሁሉም ደንበኞች ሂሳብ ላይ ተጨመረ። ሁለተኛው ተሸካሚ እንግዲህ ራሱ ደንበኛው ሆነ።

ሩሲያ በየካቲት 2022 በዩክሬን ላይ ጦርነት ከከፈተች በኋላ ነገሩ ይበልጥ ከፋ። ጣሪያው በጥቅምት 2021 ከነበረበት 1,277 ፓውንድ በሚያዝያ 2022 ወደ 1,971፣ ለጥቅምት 2022 ደግሞ ወደ 3,549 ፓውንድ እንደሚወጣ ተነገረ። አዲሷ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊዝ ትረስ በመስከረም 8 ቀን 2022 ለምክር ቤቱ ባቀረቡት ዕቅድ፣ የዚያ ምሳሌ ቤተሰብ ሂሳብ ለሁለት ዓመት በ2,500 ፓውንድ እንዲገታና ልዩነቱን መንግሥት ለአቅራቢዎች እንዲከፍል ተወሰነ። ሦስተኛው ተሸካሚ የመንግሥት ግምጃ ቤት መሆኑ ነው። ይሁንና የገንዘብ ገበያው በመንግሥት ዕቅድ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ፣ አዲሱ የገንዘብ ሚኒስትር ጄረሚ ሀንት በጥቅምት 17 ቀን የሁለቱን ዓመት ተስፋ ወደ ስድስት ወር አሳጠሩት። በኋላ በሦስት ወር ቢራዘምም፣ የኦፍጄም ጣሪያ በሐምሌ 2023 ወደ 2,074 ፓውንድ በመውረዱ ዋስትናው ለአብዛኛው ቤተሰብ አስፈላጊነቱ አበቃ። ለቤተሰቦች የተከፈለው ድጎማ ከ20 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር።

የጀርመን መንገድ

ጀርመን በ2023 የተከተለችው ዘዴ ለንጽጽር የሚጠቅም ነው። መንግሥት ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ካለፈው ፍጆታው 80 በመቶውን ብቻ በተገታ ዋጋ፣ ጋዙን በኪሎዋት ሰዓት 12 ሳንቲም፣ ኤሌክትሪኩን 40 ሳንቲም፣ እንዲያገኝ አደረገ። ከዚያ በላይ የሚጠቀም ሙሉውን የውል ዋጋ ይከፍላል። በዚህም ቤተሰቡ ከለላ ሲያገኝ የመቆጠብ ምክንያቱ አልጠፋበትም። የብሪታንያው ዋስትና ግን ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ድጎማ በመስጠቱ፣ በፓውንድ ሲሰላ ትልቅ ቤት ያለው ሀብታም በጠባብ ቤት ከሚኖር ጡረተኛ የበለጠ ተደገፈ።

ማጠቃለያ

የዋጋ ጣሪያ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። በ2019 በቸልታ ውድ ታሪፍ ሲከፍል የነበረውን ቤተሰብ ጠብቋል፤ በ2022 ክረምትም ብዙዎችን ከብርድ አድኗል። ነገር ግን የተፈጠረው የኩባንያዎችን ያልተገባ ትርፍ ለመቀነስ ሆኖ ሳለ የዓለም ገበያን ማዕበል እንዲገታ በመጠየቁ፣ ከተሠራበት ዓላማ ውጭ ሸክም ተጫነበት። ለተወሰነ የውሃ መጠን የተሠራ ግድብ ማስተንፈሻ ሳይኖረው ጎርፍ ቢመጣበት የሚሆነው ሁሉ ደረሰበት።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው፣ ጣሪያው የኪሎዋት ሰዓቱን ዋጋ እንጂ ቁጥሩን አለመንካቱ ነው። አብዛኛው የብሪታንያ ቤት የሚሞቀው በጋዝ ሲሆን፣ ብዙው አሮጌና ሙቀት የሚያባክን ነው። የጣሪያና የግድግዳ ሙቀት መከላከያ የማልበሱ ሥራ ግን ከ2013 ጀምሮ በእጅጉ ቀንሶ ነበር። ያን ጊዜ ያልተለበጠው ግድግዳ በ2022 ክረምት የግምጃ ቤቱን ገንዘብ በሙቀት መልክ ወደ ውጭ ያፈስ ነበር። ዋጋን በአዋጅ መወሰን የመንግሥት ሥራ ነው፤ ፍጆታን መቀነስ ግን የመሐንዲስ ሙያ ነው። ሁለተኛው ሳይሠራ ከቀረ የመጀመሪያው ሸክሙን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ከማዛወር አያልፍም።