መኪና ውስጥ ሆነው የገመቱት ቤት

በእንግሊዝ አገር መኖሪያ ቤት ሁሉ ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው ዛሬ ገበያ ቢወጣ የሚያወጣው ነው፤ እሱን ቤት አሻሻጩ እስቴት ኤጀንትም፣ ባንኩም፣ ጎረቤትም ያውቁታል። ሁለተኛው ቤቱ ኤፕሪል 1 ቀን 1991 ተሸጦ ቢሆን ኖሮ ያወጣ ነበር ተብሎ የተገመተው ነው። ለአካባቢው አስተዳደር፣ ለካውንስሉ፣ የሚከፈለው ካውንስል ታክስ የሚሰላው በዚህ በሁለተኛው ዋጋ ነው። (የእንግሊዝን ነገር ሳነሳ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ ለንደን ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት ነው የምተዳደረው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ደብዳቤ አንባቢ ነኝ፤ የካውንስል ፖስታ ያስጨነቀው ሁሉ ሻዩን ይዞ ከጎኔ ይቀመጣል። ጥያቄው ብዙ ጊዜ ስለ ቅናሽ ነው፦ «ብቻዬን ነው የምኖረው፣ ሃያ አምስት በመቶው ለምን አልተቀነሰልኝም?» «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፣ እሱም ይቆጠራል እንዴ?» የቤቱን የዋጋ እርከን ስለምታሳየው፣ «ባንድ ዲ» ወይም «ባንድ ኢ» ስለምትለው ፊደል ግን የሚጠይቀኝ ጥቂት ሰው ነው። ሒሳቡ የሚጀምረው ግን ከእሷ ነው። እኔም ይህችን ፊደል ማን እንደሰጣት፣ ለምንስ እስከ ዛሬ እንደማትነካ ስከታተል የቆየሁት የሰዎቹን ደብዳቤ ሳነብ ነው።

ነገሩ ከቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን ይነሣል። በ1601 የወጣው የድሆች መርጃ ሕግ እያንዳንዱ አጥቢያ የራሱን ድሆች እንዲጦር አዘዘ፤ ገንዘቡም በአጥቢያው ቤትና መሬት ከያዙት ሰዎች ተሰበሰበ። ከዚህ ያደገው «ሬትስ» የተባለው ግብር የቤቱን ዓመታዊ የኪራይ ግምት መሠረት አድርጎ እስከ 1990 ድረስ ዘለቀ። ኪራይ ይወጣል ይወርዳል፤ ስለዚህ ግምቱ በየጊዜው መታደስ ነበረበት። ማደስ ማለት ግን የአንዱን ሰው ግብር ከፍ ማድረግ ነው፤ የተጨመረበት ይጮኻል፣ የተቀነሰለት ዝም ይላል። ፖለቲከኞችም ጩኸቱን እየፈሩ መሸሽ ለመዱ። በ1956 ለመኖሪያ ቤቶች አዲስ ግምት ሲወጣ መነሻው ከጦርነቱ በፊት የነበረው የ1939 ኪራይ ነበር። ከ1973ቱ ግምት በኋላ ደግሞ በእንግሊዝና በዌልስ የመኖሪያ ቤቶች የሬትስ ግምት ዳግመኛ አልታደሰም፤ ሌበር ፓርቲም ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲም በየተራቸው ወደ ጎን ተዉት።

ስኮትላንድ ግን በ1985 አደሰች፤ ጩኸቱም መጣ። ሒሳባቸው ያሻቀበባቸው የቤት ባለቤቶች፣ ብዙዎቹም የኮንሰርቫቲቭ ደጋፊዎች፣ ተቆጡ። የማርጋሬት ታቸር መንግሥት ከዚያ የወሰደው ትምህርት ግምቱን ቶሎ ቶሎ ማደስ ይሻላል የሚል አልነበረም፤ ከቤት ዋጋ ጋር ጨርሶ መለያየት የሚል ነበር። ፖል ታክስ የተወለደው እንዲህ ነው። በ1989 በስኮትላንድ፣ በ1990 በእንግሊዝና በዌልስ ሥራ ላይ ዋለ፤ በነፍስ ወከፍ የሚከፈል ስለነበር መስፍኑም ቆሻሻ ጫኙም በአንድ ከተማ እስከኖሩ ድረስ እኩል ይጠየቁ ነበር። ማርች 31 ቀን 1990 ትራፋልጋር አደባባይ ላይ የወጣው ሰልፍ ወደ ረብሻ ተለወጠ፤ ከ300 በላይ ሰው ታሰረ። ሚሊዮኖች አንከፍልም አሉ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ታቸር ከሥልጣን ወረዱ።

በእሳቸው እግር የተተኩት ጆን ሜጀር ነገሩን ለሚኒስትራቸው ለማይክል ሄዘልታይን ሰጡ። ጥድፊያውን ለማየት የማርች 1991ን በጀት ማየት ይበቃል፦ ከእያንዳንዱ ሰው የፖል ታክስ ሒሳብ ላይ 140 ፓውንድ ለማንሳት ሲባል ቫት ከ15 ወደ 17.5 በመቶ ከፍ አለ። አዲሱ ሕግ በ1992 ወጣ፤ ካውንስል ታክስ ኤፕሪል 1 ቀን 1993 እንዲጀምር ተወሰነ። በዚህ መካከል በእንግሊዝና በዌልስ ከ20 ሚሊዮን በላይ ቤት መገመት ነበረበት።

ገማቹ መሥሪያ ቤት፣ ቫሉዌሽን ኦፊስ፣ ለእንዲህ ያለው ሥራ እንግዳ አልነበረም። የተቋቋመው በ1910 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሎይድ ጆርጅ የመሬት ግብር ሊያስከፍሉ በተነሡ ጊዜ ነው። ያኔ ገማቾቹ አገሩን እየዞሩ የቤቱን ክፍሎች፣ ይዞታውንና የግድግዳውን ሁኔታ በእጃቸው ጻፉ። ግብሩ በ1920 ቢሻርም መዝገቦቻቸው ዛሬም ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አሉ፤ የአያት ቅድመ አያቱን ቤት የሚፈልግ ሰው ይገልጣቸዋል። በ1991ና በ1992 ግን ለዚያ የሚሆን ጊዜ አልነበረም። ሥራው በከፊል ለግል እስቴት ኤጀንቶችና ለቤት ገማቾች በኮንትራት ተሰጠ፤ ሥራቸውም «የሁለተኛ ማርሽ ግምት» የሚል ስም አተረፈ። መኪናው በሁለተኛ ማርሽ መንገዱን እየቃኘ ያልፋል፣ ገማቹ በመስኮት ያያል፣ ጉልበቱ ላይ ባለው ዝርዝር ፊደል ይጽፋል። ከኋላ የተጨመረውን ኩሽና፣ እርጥበት የበላውን ግድግዳ፣ ሦስተኛው መኝታ ቤት በእርግጥ አልጋ ይይዝ እንደሆነ ማንም ገብቶ አላየም።

ለዚህ ዓይነቱ ችኮላ የተሰጠው ምክንያት ባንዶቹ ሰፋፊ ስለሆኑ ትክክለኛውን ዋጋ ማወቅ አያስፈልግም የሚል ነበር። በእንግሊዝ ስምንት ባንድ አለ። እስከ 40,000 ፓውንድ ያለው ኤ ነው፤ ከ52,001 እስከ 68,000 ሲ፣ ከ68,001 እስከ 88,000 ዲ፤ ከ320,000 በላይ ያለው ሁሉ ኤች። የቤቱ ዋጋ በባንዱ መካከል ላይ ከሆነ የገማቹ ትንሽ ስህተት አይጎዳውም። ድንበሩ ላይ ያለው ቤት ግን በአንድ ፓውንድ ግምት ከሲ ወደ ዲ ይሻገራል። ሒሳቡ በዘጠኝ እጅ የተከፈለ ነው፦ ዲ ዘጠኝ እጅ ቢከፍል፣ ሲ ስምንት፣ ኤ ስድስት፣ ኤች አሥራ ስምንት ይከፍላል። የዲ ሒሳብ 1,800 ፓውንድ በሆነበት ቦታ ሲ 1,600 ነው ማለት ነው። 200 ፓውንድ በየዓመቱ፣ ቤቱ እስካለ ድረስ።

ስህተቱ ግምቱ ሲታደስ ይቃናል ተብሎ ነበር። ዌልስ በኤፕሪል 2003 ዋጋ አዲስ ግምት አውጥታ በ2005 ሥራ ላይ አዋለችው፤ ከቤቶቹ ሲሶ ያህሉ ወደ ላይ ወጡ፣ የወረዱት ከእነሱ እጅግ ያነሱ ነበሩ። የለንደን ሚኒስትሮች ይህን አይተው በሴፕቴምበር 2005 ለእንግሊዝ በ2007 ታቅዶ የነበረውን ግምት አቆሙት። ስለዚህ እንግሊዝ ዛሬም 1991 ላይ ቆማለች። በምሥራቅ ለንደን፣ ስትራትፎርድ ላይ፣ ለ2012 ኦሎምፒክ ስፖርተኞች የተሠሩትን አፓርታማዎች ተመልከቱ። ገማቹ የተጠየቀው እነዚህ ቤቶች በ1991 ስንት ያወጡ ነበር ብሎ እንዲያስብ ነው፤ ያኔ አካባቢው የባቡር ሐዲድና የኢንዱስትሪ መሬት ነበር። ያልነበረ ቤት፣ በሌለ ሰፈር፣ በሌለ ገበያ ይሸጣል።

ባንድን መቃወም የሚባለው ነገር ትልቅ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። መንግሥት በአንድ ጊዜ ሊሠራው ያልደፈረውን እርማት ለቤቱ ባለቤት፣ ቤት ለቤት፣ በማመልከቻ ተወለት። በ2007 የገንዘብ ጉዳይ ጋዜጠኛው ማርቲን ልዊስ በቴሌቪዥን መንገዱን ካሳየ ወዲህ ብዙ ሕዝብ ጻፈ። መንገዱ ሁለት ፈተና አለው። መጀመሪያ በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ የመንገድህን ቤቶች ባንድ ታያለህ፤ ማንም ያየዋል፣ ምስጢር አይደለም። ቀጥሎ ቤትህ ወይም መሰሉ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሸጠበትን ዋጋ ይዘህ፣ በቤት ዋጋ መለኪያ ወደ 1991 ትመልሰዋለህ። ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ካመለከቱ ትጽፋለህ። አንዱ ብቻ ከሆነ እጅህን ትሰበስባለህ፤ ምክንያቱም ባንዱ ሊጨምርም ይችላል፣ የጎረቤትህም አብሮ ሊነሣ ይችላል።

ለምሳሌ ደብዳቤ ይዘው የመጡ አንዲት እናት ቤታቸውን ከገዙ ዓመታት ሆኗቸው ነበር፤ ግድግዳ የሚጋሩ የረድፍ ቤቶች መካከል ነው። ስልኬ ላይ መንገዱን ከፍቼ አሳየኋቸው፦ ግራው ሲ፣ ቀኙ ሲ፣ ማዶው ሲ፤ የእሳቸው ብቻ ዲ። ዝም ብለው ካዩት በኋላ «ልጄ፣ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል ነው ያደግሁት። ጭራሽ ጨምረውብኝ ቢያርፉስ?» አሉኝ። ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም፤ ስለዚህ ዋጋውን እስክናሰላ አላስጻፍኳቸውም። የገዙበት ውል ሲወጣ ስሌቱ ከ68,000 በታች፣ ያውም በደንብ በታች፣ አሳየ። ከመጻፋቸው በፊት «እማማ፣ ለሁለቱ ጎረቤቶችዎ ይንገሩ» አልኳቸው፤ ነገሩ የእነሱንም ደጅ ሊያንኳኳ ስለሚችል። ባንዱ ወረደ፤ በትርፍ የከፈሉትም ከገቡበት ቀን ጀምሮ ተመለሰላቸው። የሌላ ሰውዬ ግን ተቃራኒ ነበር፦ የማዶው ሲ ነው ብሎ ተነሣ፣ የማዶዎቹ ቤቶች ግን አንድ መኝታ ያንሳሉ፣ በእሱ ወገን ያለው ሁሉ ዲ ነው፣ ስሌቱም ዲ ይላል። «ተወው» አልኩት፤ ቅር አለው፣ ተወው።

የመቃወሚያውን ቀነ ገደብ የማያውቅ ይጎዳል። አዲስ ገቢ ከፋይ ከሆነበት ቀን አንሥቶ በስድስት ወር ውስጥ ባንዱን በሕግ የመቃወም መብት አለው፤ መሥሪያ ቤቱ እምቢ ካለ ቫሉዌሽን ትራይቡናል ወደተባለው ነጻ ሸንጎ በሦስት ወር ውስጥ ይሄዳል። ከስድስት ወር በኋላ ግን ጠንካራ ማስረጃ ይዞ እዩልኝ ማለት ነው የሚቀረው። ሌላም ወጥመድ አለ፦ ቤቱን ያስፋፋ ባለቤት ባንዱ አይነካበትም፤ ሲሸጠው ግን ለገዢው ይነሣል። ጣሪያ ሥር ክፍል ያሠራው ሰው ሄዷል፣ ሒሳቡ ለአንተ ይመጣል።

አገር ቤት ላለ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ የጣሪያና ግድግዳ ግብር የምትለው በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 80 ላይ የቆመ ነበር፤ ግምቱ ለዐሥርት ዓመታት ተኝቶ ከርሞ በ2015 ዓ.ም. በአንዴ ከፍ ሲደረግ ባለቤቱ ደነገጠ። በአንድ በኩል ሳይነኩት የኖሩት ግምት፣ በሌላ በኩል ድንገት ያሻቀበ ሒሳብ። ለንደን የመጀመሪያውን መርጣለች፤ አዲስ አበባ ሁለቱንም አየች።

መተው ነጻ መስሎ ይታያል እንጂ ዋጋ አለው። ከ320,000 በላይ ያለው ሁሉ አንድ ባንድ በመሆኑ የቤተ መንግሥት ያህል የሆነ ቤት የሚከፍለው የዲን እጥፍ ብቻ ነው፤ በቅርብ ዓመታት በለንደኑ ዌስትሚኒስተር ያለ ኤች ቤት በሰሜን እንግሊዟ ሃርትልፑል ካለ ዲ ቤት ያነሰ ሲከፍል ቆይቷል። በኖቬምበር 2025 በጀት ከ2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ በሚያወጡ ቤቶች ላይ ከ2028 ጀምሮ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚጣል ተነገረ፤ ለእነዚያ ቤቶች አዲስ ግምት ይወጣል። ለቀረው ሕዝብ 1991 እንደጸና ነው።

ስለዚህ ደብዳቤ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ የምለው ሁለት ነገር ነው። ፊደልህን ከጎረቤቶችህ ጋር አስተያይ፤ ማስረጃ ካለህ ጻፍ፣ ከሌለህ አትንካው። ማመልከቻ የአንድ ቤትን ስህተት ያርማል። የ1991ን ቀን ማረም የሚችለው ግን ፓርላማው ነው፤ እሱ ደግሞ እስከ ዛሬ አልደፈረም።