ግዳይ የማይቆጠርለት አውሬ፦ ከርከሮንና የዱር አሳማን የመከላከል ታሪክ ከደጋው እስከ ዋልዳ

የኢትዮጵያ የአደን ታሪክ በአመዛኙ የግዳይ ታሪክ ነው። ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽ ወይም አውራሪስ የገደለ ሰው ይፎከርለት፣ ይዘፈንለት፣ በሹማምንት ፊት ቆሞ ይመሰከርለት ነበር፤ ማሳ ሲገለብጥ የሚያድረውን የዱር አሳማ የጣለ ገበሬ ግን ያተረፈው ነገር ቢኖር ከሰብሉ የቀረችውን ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ከርከሮንና አሳማን የመከላከል ጥበብ በዜና መዋዕልም ሆነ በአዳኞች ውዳሴ ውስጥ ተገቢ ቦታ ሳያገኝ ኖሯል። ሆኖም ከሰሜኑ ደጋ አንሥቶ በኬንያ ጠረፍ እስካለችው ዋልዳ ድረስ የማሳውን አጥር፣ የገበሬውን ሌሊትና የልጆቹን እንቅልፍ የወሰነው ይኸው ግዳይ የማይቆጠርበት ሥራ ነው።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ አውሬዎቹን መለየት ያስፈልጋል፤ በአነጋገር ሁሉም «አሳማ» ይባሉ እንጂ ጠባያቸው ይለያያል፣ የመከላከያው ዘዴም የሚወሰነው በዚሁ ጠባይ ነው። ከርከሮ ቀን የሚሰማራ፣ በአብዛኛው ሣር የሚግጥ፣ ሲግጥ የፊት እግሮቹን አጥፎ የሚንበረከክ፣ ሲሮጥ ደግሞ ጭራውን ሽቅብ ቀጥ አድርጎ የሚያቆም የሜዳ አውሬ ነው። የዱር አሳማ በአንጻሩ ጫካና ቁጥቋጦ ውስጥ ውሎ ሲመሽ የሚወጣ፣ በአፍንጫው መሬቱን እየገለበጠ ሥራሥርና ድንች የሚያወጣ፣ የበቆሎ አገዳ ጥሎ እሸቱን የሚበላ ነው። በደቡብ ምዕራብና በባሌ ደኖች ከሁለቱም የሚገዝፍ ጥቁር የጫካ አሳማ ይገኛል፤ ይህ እንስሳ በሳይንስ የታወቀው እጅግ ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። እንግዲህ ከርከሮ የቀን ጠባቂ፣ አሳማ የሌሊት ጠባቂ ሲጠይቁ፣ ሁለቱ በሚገናኙበት ስፍራ ያለ ገበሬ ከዘር እስከ አጨዳ ዕረፍት የለውም ማለት ነው።

ስማቸውም ታሪክ አለው። ጀርመናዊው አሳሽ ሔውግሊን እ.ኤ.አ. በ1863 የኢትዮጵያን ደጋ የዱር አሳማ ለሳይንስ ዓለም ሲያስተዋውቅ «ሐሰማ» የሚል መጠሪያ ሰጠው፤ ይህ ስም ከትግርኛው «ሓሰማ»ና ከአማርኛው «አሳማ» ጋር አንድ መሆኑ ግልጽ ነው። ከርከሮም በኦሮምኛ «ከርከሮ» ስለሚባል፣ የቦረና ከብት አርቢና የሸዋ ገበሬ ስለዚህ አውሬ ሲነጋገሩ አስተርጓሚ አያሻቸውም። ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን የበረሃ ከርከሮ የሚባለው የተለየ ዝርያ ነገር ነው። ፓላስ የተባለው የተፈጥሮ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1766 ከደቡብ አፍሪካ ጫፍ፣ ከኬፕ፣ በመጣ እንስሳ ላይ ተመሥርቶ «ኤቲዮፒከስ» ብሎ ሰየመው፤ በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት አፍሪካን በጥቅሉ በኢትዮጵያ ስም ይጠሯት ነበርና ስያሜው ከአገሪቱ ጋር የተለየ ግንኙነት አልነበረውም። የኬፕ ከርከሮ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈጽሞ ሲጠፋ ዝርያው ተረስቶ ከሌላው ከርከሮ ጋር ተደባልቆ ቆየ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ እንደገና ሲጠና ግን በሕይወት የተረፉት ዘመዶቹ በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በሰሜናዊና ምሥራቃዊ ኬንያ እንደሚገኙ ተረጋገጠ። በጥቅሉ የተሰጠው ስም በመጨረሻ ባለቤቱን አገኘ፤ የሞያሌና የዋልዳ ቆላም የሚገኘው በዚሁ የበረሃ ከርከሮ አገር ነው።

ታዲያ እንዲህ ጎጂ የሆነ አውሬ ስለምን በወጥመድ እየተያዘ አልተመነጠረም? መልሱ ከሥጋው ይጀምራል። የኦሪት ዘሌዋውያን 11ኛ ምዕራፍ ሰኮናው የተሰነጠቀ ሆኖ የማያመሰኳውን እሪያ ርኩስ ይለዋል፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ይህን ሥርዓት ጠብቃ ስትኖር፣ እስልምናም በበኩሉ የአሳማን ሥጋ ሐራም አድርጎታል። ስለዚህ ለአብዛኛው ገበሬ አሳማ ማጥመድ ትርፍ የሌለው ድካም ነበር፤ ሥጋው አይበላም፣ ገበያም አይወጣለትም፣ ሬሳውን ከማሳ ጎትቶ መጣሉ እንኳ ሌላ ጣጣ ነው። በአሜሪካ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። እዚያ የስፔኑ ዘማች ደ ሶቶ እ.ኤ.አ. በ1539 ለስንቅ ብሎ ወደ ፍሎሪዳ ካስገባቸው የቤት አሳማዎች ጀምሮ አምልጠው የዱር የሆኑት ተራብተው ዛሬ በግምት 6 ሚሊዮን ደርሰዋል፤ ገበሬዎችም መንጋውን ባንድ ጊዜ የሚዘጋ የብረት በረት በማሳ ዳር ይተክላሉ። ልዩነቱ የሥጋ ብቻ አይደለም፣ የመራባትም ነው፤ ከቤት አሳማ የወረደው የአሜሪካው አውሬ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ብዙ ግልገሎች ሊጥል ሲችል፣ ከርከሮ በአብዛኛው በዓመት አንድ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ግልገል ወልዶ ከእነርሱም የሚበዙትን ለአንበሳ፣ ለነብርና ለጅብ ይገብራል። አራዊቱ እርስ በርስ በሚጠባበቁበት አገር ለገበሬው የሚቀረው ሥራ አውሬውን ማጥፋት ሳይሆን ከማሳ ማራቅ ነበር።

የዚህ ማራቅ ዋና መሣሪያ ማማ ነው። ማማ ማለት በማሳ መካከል ወይም ዳር በአራት ባላ ላይ የሚሠራ፣ ከላይ ሣር የሚከደንለት ከፍ ያለ የጥበቃ መደብ ሲሆን፣ ጠባቂው ወንጭፉንና የጠጠር ክምሩን ይዞ እሸት ከያዘበት ቀን ጀምሮ እስከ አጨዳ በላዩ ይኖራል። ቀን ቀን የዝንጀሮና የወፍ ተራ ነው፤ በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሰሜን ኢትዮጵያ የኖረው እንግሊዛዊ ማንስፊልድ ፓርኪንስ ዝንጀሮዎች ዘብ አቁመው ማሳ እንዴት እንደሚዘርፉ በ1853 ባሳተመው መጽሐፉ በዝርዝር ጽፏል። ሌሊት ግን ዓይን አይሠራም፣ ሥራው ሁሉ የጆሮ ይሆናል። የበቆሎ አገዳ ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ በነፋስ ከሚንኮሻኮሽ ቅጠል ይለያል፤ ጠባቂው ያን ድምፅ እንደለየ ጅራፍ ያጮኻል፣ ቆርቆሮ ይመታል፣ ከእሳቱ ትንታግ መዝዞ ይወረውራል፣ ካጠገቡ ማማ ያለውም ጩኸቱን ተቀብሎ ያስተላልፋል። አሳማ ብልህ ስለሆነ ጩኸት ብቻ መሆኑን ከተረዳ በሌላ ወገን ዞሮ ይገባል፤ ስለዚህ ዝም ብሎ የተኛ ጠባቂ ብቻ ሳይሆን ዘዴውን ሳይለዋውጥ ያደረ ጠባቂም ማሳውን ያስበላል። ይህን ሸክም አብዛኛውን ጊዜ የተሸከሙት ልጆች ናቸው። ትምህርት ቤት ወደ ገጠር በተስፋፋበት ዘመን በአዝመራ ወራት የተማሪ መቅረት አንዱ ምክንያት የማማ ጥበቃ ሆኖ መቆየቱ የሚያሳዝን ነው፤ ከአሳማ የተረፈው እህል ዋጋ የሚከፈለው በእነዚህ ልጆች ዕድሜ ነበርና።

ወጥመድ ግን ፈጽሞ አልነበረም ማለት አይደለም። በእንሰት አገር፣ በሲዳማ፣ በጉራጌና በከፋ፣ አሳማና ጃርት የእንሰቱን ሥር ቆፍረው ስለሚበሉና ለማደግ ዓመታት የፈጀ አንድ ተክል በአንድ ሌሊት ስለሚወድቅ፣ ከጩኸት ያለፈ ዘዴ ያስፈልግ ነበር። አንዱ ዘዴ አውሬው በሚመላለስበት መንገድ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ በጭራሮና በሣር መሸፈን ነው፤ አሳማ የለመደውን መንገድ ስለማይለቅ የቆፋሪው ዋና ዕውቀት የአካፋው ሳይሆን የኮቴው ነው። ሌላው አሽክላ ነው፤ አሽክላ ሲሳብ የሚጠብቅ የገመድ ሸምቀቆ ሲሆን በአጥር ሽንቁር ውስጥ ይዘረጋና ጫፉ ከጠንካራ እንጨት ይታሰራል። ሦስተኛው ውሾችን ለቆ ከዋሻ ወይም ከጉድጓድ ማስወጣትና በጦር መውጋት ነው። ከርከሮ የሚያድረው ብዙ ጊዜ አዋልዲጌሳ የተባለው ምስጥ በል እንስሳ ቆፍሮ በተወው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ወደዚያ የሚገባውም ጀርባውን አስቀድሞ ወደ ኋላ እየተንፏቀቀ ስለሆነ ክራንቻው ሁልጊዜ ወደ አፋፉ ይመለከታል። ጎህ ሲቀድ ከጉድጓዱ የሚወጣው እንደ ተተኮሰ ነገር ነውና በአፋፉ ፊት ለፊት የሚቆም ሰው አላዋቂ ብቻ ነው፤ ልምድ ያለው ከጎን ይጠብቃል።

እነዚህን ዘዴዎች ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ግን በኅብረተሰቡ ዘንድ ዝቅ ተደርገው የኖሩ ሕዝቦች ናቸው። በከፋ ማንጆዎች አሳማን፣ ጉሬዛንና ጃርትን እያደኑ የሚኖሩ ተብለው ይታወቁ ነበር፤ እስከ 1897 (እ.ኤ.አ.) በቆየው የከፋ መንግሥት የአገሩን በሮች መጠበቅም የእነርሱ ግዴታ ነበር። በጉራጌ ፉጋዎች፣ በቦረና ደግሞ በመርዝ ቀስት አዳኝነት የታወቁት ዋታዎች ተመሳሳይ ስፍራ ነበራቸው፤ የመርዙ ምንጭ በአማርኛ መረንዝ፣ በኦሮምኛ ቀራሩ የሚባለው ዛፍ ነው። ጎረቤቱ አሳማ ይበላሉ ብሎ ከእነርሱ ጋር አልተጋባም፣ ከአንድ ገበታ አልቆረሰም፣ ወደ ቤቱም አላስገባም። እዚህ ላይ የታሪኩ ትልቁ በደል ይታያል፦ ያ የተናቀ ማዕድ የገበሬውን ማሳ ከጥፋት የሚጠብቅ አገልግሎት ነበር፤ አዳኙ ሥጋውን ስለሚፈልግ አውሬውን ያጠምዳል፣ ባለ ማሳው ሰብሉ ይተርፍለታል፣ ምስጋናው ግን ንቀት ሆኖ ይመለሳል። ስለ አገሪቱ ግብርና የሚጻፍ ታሪክ ማንጆንና ዋታን በዚህ ድርሻቸው ሳያነሣ ሙሉ ሊባል አይችልም።

የአውሬውና የሰው ሚዛን አንድ ጊዜ እስከ ሥሩ ተናግቷል። እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 በዘለቀው ክፉ ቀን የገባው የከብት ደስታ በሽታ ከብቱን ብቻ አልጨረሰም፤ በሽታው ጎሽን፣ ከርከሮንና የዱር አሳማንም የሚገድል ስለነበር ዱሩም አብሮ ተራቆተ። ቦረናዎች ያንን ዘመን «ቲቴ ጉራቻ»፣ ማለትም የጥቁር ዝንብ ዘመን ይሉታል። ከርከሮ ከበሽታ ጋር ያለው ታሪክ በዚያ አላበቃም። የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት የሚባለው በሽታ በሳይንስ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1921 ከኬንያ ነው፤ ከርከሮ ራሱ ሳይታመም ተሸክሞ በመዥገር አማካይነት ወደ ነጭ ሰፋሪዎች የቤት አሳማዎች ያስተላልፈው ነበር። በዚህ የተነሣ ለደጋው ገበሬ የእህል ጠላት ብቻ የነበረው አውሬ ለኬንያ ሰፋሪ የእርባታው ጠላት ጭምር ሆነ።

ቀጥሎ የሚታየው የሕጉ ነገር ነው። ኢትዮጵያ የአራዊት ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 61ን እ.ኤ.አ. በ1944 አወጣች፤ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ደግሞ በ1999 ዓ.ም. ተደነገገ። ኬንያ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ1977 አደንን በመላ አገሪቱ ከለከለች። እንግዲህ ድንበሩ ሞያሌን ለሁለት ሲከፍል ሕጉንም ከፍሎታል፤ በኢትዮጵያ ወገን በፈቃድ ሊታደን የሚችል ከርከሮ ወደ ኬንያ ሲሻገር አዳኙን ወንጀለኛ ያደርጋል፣ አውሬው ግን በሁለቱም ወገን ያንኑ በቆሎ ይበላል። የሁለቱም ሕጎች ዓላማ ትክክል ነው፤ ጉድለታቸው የዱር እንስሳውን ሲጠብቁ ከማማው ላይ ስለሚያድረው ልጅ እምብዛም አለማሰባቸው ነው።

ዋልዳ በአማርኛ ተናጋሪው ትዝታ የምትታወሰው ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን በተጠለሉባት የስደተኞች ሰፈር ነው፤ ሰፈሩ ከጥቂት ዓመት በኋላ ተዘግቶ ስደተኞቹ ወደ ካኩማ ተወሰዱ። ከዚያ በፊትም በኋላም ግን አገሩ የቦረና የግጦሽ አገር ነው። ዝናሙ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጋና እና በሐጋያ፣ ጠብ ሲል ጥቂት በቆሎና ቦሎቄ የሚዘራው ሰው ማሳውን የሚያጥረው ከብት አርቢው ካሎን በሚያጥርበት ዘዴ ነው። ካሎ ለጥጆችና ለደከሙ ከብቶች በድርቅ ጊዜ የሚቆይ፣ ከመንጋው የተከለለ ግጦሽ ሲሆን፣ ከርከሮ ሣሩን እየጋጠ ሥሩንም ስለሚነቅል በዚያ ስፍራ ጠላትነቱ ከማሳው አያንስም። አጥሩ የሚሠራው ከግራር ቅርንጫፍ ነው፤ ግንዱ ወደ ውስጥ፣ እሾሁ ወደ ውጭ ሆኖ ይደረደራል። ከርከሮ አጥር አይዘልም፤ አፍንጫውን ከሥር አስገብቶ ያነሣዋል። ስለሆነም የአጥሩ ጥንካሬ የሚለካው በቁመቱ ሳይሆን በእግሩ ሥር ባለው ጥቅጥቅታ ነው፤ ምስጥ ደግሞ በመጀመሪያ የሚበላው ይህንኑ ከመሬት የነካውን እንጨት ስለሆነ፣ ዝናም ከመምጣቱ በፊት አሮጌው ተነሥቶ አዲስ ግራር ተቆርጦ ከሥር ከሥሩ ይጠቀጠቃል።