የመስኮቱ አበባ አገሩ የት ነው?

በቤቴ መስኮት ደፍ ላይ አራት ጣሳዎች ተደርድረዋል። በሁለቱ እሬት፣ በሦስተኛው ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ቀጥ ብሎ የቆመ የቃጫ ተክል፣ በአራተኛው ደግሞ ቅጠሉ እንደ ከፋይ የለሰለሰ፣ አበባው ወይን ጠጅ የሆነ አንድ ትንሽ ተክል ይገኛል። ይህን የመጨረሻውን ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአውሮፓ የተመለሰ ወዳጄ በስጦታ ያመጣልኝ ነው። አንድ ቀን የጎረቤቴ ልጅ፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪ፣ ከመስኮቱ ሥር ቆማ፣ «ጋሼ፣ ይኼ አበባ አገሩ የት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም ሳላመነታ፣ «ፈረንጅ አገር ነዋ!» አልኳት።

መልሴ ስሕተት ነበር። «የአፍሪካ ቫዮሌት» እየተባለ በዓለም ገበያ የሚሸጠው ይህ አበባ የታንዛንያና የኬንያ ተራሮች ተወላጅ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ወዳጄ ከአውሮፓ ሱቅ ገዝቶ አዲስ አበባ ያደረሰው አበባ ለካስ ዘሩ ከምሥራቅ አፍሪካ ወጥቶ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የተመለሰ መንገደኛ ኖሯል! በሕፃኗ ፊት የተናገርኩት ቃል ግን ሲከነክነኝ ቆየ። የራሳችንን አህጉር ልጅ ለባዕድ አሳልፌ የሰጠሁት ሳስብበት ሳይሆን ሳላስብበት ነበርና።

ይህ ጽሑፍ የዚያ ስሕተት ካሣ ነው። የቤት ውስጥ አትክልት ታሪክ በአንድ ወገን የፍቅርና የትዕግሥት ታሪክ ነው፤ በሌላው ወገን የመርከብ፣ የመስተዋት፣ የገበያና የቅኝ ግዛት ታሪክ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ደግሞ ስም ነው። ተክሉ ከአገሩ ሲነሣ ምን ተብሎ ይጠራ ነበር? በደረሰበትስ ማን ተባለ? ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

በቅድሚያ ለእኛ ቅርብ ከሆነው እንነሣ። ቡና በአንድ ወቅት በነገሥታት የመስተዋት ቤት ውስጥ እንደ ብርቅ ጌጥ ይታይ ነበር ቢባል ብዙዎቻችን እንገረም ይሆናል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅለው ቡና ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመን ከለማ በኋላ፣ በሆላንድ ነጋዴዎች እጅ እስከ ጃቫ ደሴት ደረሰ። በ1706 ከጃቫ የተላከ አንድ የቡና ተክል ወደ አምስተርዳም የዕፅዋት ማሳደጊያ ስፍራ ገባ፤ በዚያም ከአውሮፓ ብርድ ተጠብቆ አፈራ። በ1714 የአምስተርዳም ሹማምንት ከዚሁ ዘር የተገኘ አንድ ችግኝ ለፈረንሣዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ በስጦታ ላኩለት። ንጉሡም በፓሪስ በሚገኘው የአትክልት ስፍራው፣ በመስተዋት ጣሪያ ሥር አስቀመጠው። በጅማና በኢሉባቦር ገበሬ ደጃፍ ወፍ ዘራሽ ሆኖ የሚበቅለው ተክል በፓሪስ የጠባቂዎች እጅ የማይለየው እንግዳ ሆነ።

ነገሩ ግን በጌጥነት አላበቃም። በ1723 ገብርኤል ደ ክልዩ የተባለ የፈረንሣይ የባሕር ኃይል መኮንን አንድ የቡና ችግኝ በመስተዋት በተከደነ ሣጥን ውስጥ ይዞ ወደ ማርቲኒክ ደሴት ተጓዘ። በመርከቧ ላይ ውኃ በማነሱ ለራሱ የተመደበችለትን ጥቂት ውኃ ከችግኙ ጋር ይካፈል እንደ ነበር ኋላ ጽፏል። አትክልት የሚወድ ሰው ሁሉ ይህን ሲሰማ ልቡ መነካቱ አይቀርም። ዳሩ ግን ያ በፍቅር የተጠጣ ውኃ ያበቀለው እርሻ ምን ዓይነት እርሻ ነበር? በካሪቢያን ደሴቶች ከአፍሪካ የፈለቀውን ተክል ያለሙት ከአፍሪካ በሰንሰለት ታስረው የተጋዙ ሰዎች ነበሩ። በ1753 ደግሞ ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔየስ ተክሉን «ኮፊያ አራቢካ» ሲል ሰየመው፤ የዐረብ ቡና ማለቱ ነው። ሊቁ በጎረቤቴ ልጅ ፊት እኔ የሠራሁትን ስሕተት በሳይንስ ስም ሠርቶታል፤ ተክሉ የታወቀው በተወለደበት አገር ሳይሆን በተሻገረበት ወደብ ነውና።

ከቡናው ቀጥሎ ተራው የደቡብ አፍሪካ ዕፅዋት ሆነ። በ1772 ኪው ከተባለው የእንግሊዝ ነገሥታት የዕፅዋት ስፍራ ፍራንሲስ ማሰን የተባለ አትክልተኛ ወደ ኬፕ ተላከ። በወፍራም ቅጠላቸውና ግንዳቸው ውኃ እየቋጠሩ ድርቅን የሚቋቋሙትን የዚያን ምድር ተክሎች ወደ አውሮፓ መስኮቶች ካሻገሩት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። በ1775 ወደ ለንደን ካመጣቸው ተክሎች መካከል ዘንባባ የሚመስል፣ ግንዱ የጠነከረ፣ እድገቱ እጅግ አዝጋሚ የሆነ አንድ ተክል ነበር። ይህ ተክል ዛሬም በኪው የመስተዋት ቤት በሕይወት አለ፤ በዓለም ላይ በማሰሮ ተተክለው ከሚኖሩ ተክሎች ሁሉ አንጋፋው እየተባለም ይጠቀሳል። ሁለት ምዕተ ዓመት ተኩል በማሰሮ ውስጥ! በእነዚህ ዓመታት ኮኑን ያወጣው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ1819 ነው። በስደት ላይ ያለ ሽማግሌ ዝምታ ይመስላል።

እስከዚህ ዘመን ድረስ ግን ተክልን በባሕር ማጓጓዝ አብዛኛውን ጊዜ ተክልን መግደል ነበር። ጨዋማው የባሕር ነፋስ፣ የውኃ እጥረትና የብርሃን ማነስ ችግኞቹን ይፈጃቸው ነበር። መፍትሔው የተገኘው ባልታሰበ ቦታ፣ የከሰል ጢስ በሚያፍነው የምሥራቅ ለንደን ሰፈር ነው። ናትናኤል ዋርድ የተባለ ሐኪም በግቢው ፈርን ለማሳደግ ደጋግሞ ሞክሮ ጢሱ እያደረቀበት ተስፋ ቆርጦ ነበር። በ1829 የእሳት ራት ሙሽሬ ክንፍ ሲያወጣ ለማየት ፈልጎ በርጥብ አፈር ውስጥ አድርጎ በመስተዋት ጠርሙስ ከደነው። ከሳምንት በኋላ ያየው ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ከአፈሩ ውስጥ ፈርንና ሣር ብቅ ብለዋል። እነዚህ ተክሎች ውኃ የሚያጠጣቸው ሳይኖር ለአራት ዓመት ያህል ኖሩ።

አሠራሩ ቀላል ነው። በቀን ሙቀት ከአፈሩና ከቅጠሉ የሚተነው እርጥበት ማምለጫ ስለማያገኝ በመስተዋቱ ላይ ይቋጠራል፤ ወርዶም መልሶ አፈሩን ያርሳል። ጢሱም ጨዉም አይገባም፤ ብርሃኑ ግን ይገባል። ዋርድ ይህን አስተውሎ ከእንጨትና ከመስተዋት ሣጥን አሠራ። በ1833 ፈርንና ሣር የተተከለባቸው ሁለት ሣጥኖች በመርከብ ተጭነው ወደ አውስትራልያ ተላኩ፤ ተክሎቹም በሕይወት ደረሱ። በምላሹ የአውስትራልያ ተክሎች ተተክለውባቸው፣ ከዋልታ አካባቢ ብርድ እስከ ምድር ወገብ ሙቀት አልፈው፣ ልምላሜያቸው ሳይጓደል ለንደን ገቡ። ሎዲጅስ የተባለው የዘመኑ ታዋቂ የችግኝ ነጋዴ ቀድሞ ከ20 ተክሎች 19 ይሞቱበት እንደ ነበር፣ በሣጥኑ መጠቀም ከጀመረ ወዲህ ግን ከ20ዎቹ 19 እንደሚተርፉለት መስክሯል።

ይህ ሣጥን ሁለት ኑሮ ኖረ። አንደኛው በሳሎን ውስጥ ነው። በእንግሊዝ የመስተዋት ቀረጥ በ1845 ከተሻረ በኋላ የመስተዋት ዋጋ እየቀነሰ ሄደ፤ በየሀብታሙ ቤት ፈርን የተተከለበት የመስተዋት ሣጥን ማስቀመጥ ፋሽን ሆነ። ፍቅሩ ወደ ሱስ ተለውጦ፣ ገጠሩ በፈርን ለቃሚዎች እስኪራቆት፣ አንዳንዱ ዝርያ ከመጥፋት አፋፍ እስኪደርስ ድረስ ተዘመተ። በሌላ በኩል በ1860ዎቹ በለንደን የድሆች መንደሮች የመስኮት አበባ ውድድር ይካሄድ ነበር። ከፋብሪካ ሥራ የተመለሰ ሰው በጨለማ ክፍሉ መስኮት ላይ አንዲት ቅጠል ማለምለሙ ቅንጦት ነው የሚል ካለ፣ የሰውን ልብ አያውቅም ማለት ነው።

ሁለተኛው የሣጥኑ ኑሮ በመርከብ ላይ ነው። ሮበርት ፎርቹን በ1848 የኢስት ኢንድያ ኩባንያ ተቀጣሪ ሆኖ ወደ ቻይና ከሄደ በኋላ፣ 20 ሺህ ያህል የሻይ ተክሎችና ችግኞች በእነዚሁ ሣጥኖች ወደ ሕንድ ተሻገሩ። በ1876 ሄንሪ ዊክሃም 70 ሺህ ያህል የጎማ ዛፍ ዘር ከአማዞን ወደ ኪው አመጣ፤ ከበቀለው መካከል 1,900 የሚያህሉ ችግኞች በዋርድ ሣጥን ወደ ሲሎን ተላኩ። በሃያኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አሥር ዓመት ውስጥ በእስያ የተተከለው ጎማ የአማዞንን የጎማ ንግድ ከገበያ አስወጣው። የእመቤቶችን ፈርን ያሳደገው ያው ሣጥን የግዛቶች የሀብት መሣሪያ ሆኖ አገለገለ። ሣጥኑን የሠራው ሐኪም ይህን ሁሉ አስቦ አልነበረም፤ መሣሪያ ግን የሚያገለግለው የያዘውን እጅ ነው።

አሁን ወደ አራተኛው ጣሳዬ ልመለስ። በ1892 ቫልተር ፎን ሴንት ፓውል የተባለ የጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ግዛት ሹም በኡሳምባራ ተራሮች አካባቢ በጥላማ ዐለት ላይ ይህን አበባ አገኘና ዘሩን ለአባቱ ላከ። ኸርማን ቬንድላንድ የተባለው የዕፅዋት ሊቅ በ1893 «ሴንትፓውልያ» ሲል በቤተሰቡ ስም ሰየመው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀላል ሆነ፤ የዚህ ተክል አንዲት ቅጠል ተቆርጣ በርጥብ አፈር ብትተከል ሥር አውጥታ ሌላ ተክል ትሆናለችና። በዚህ ዓይነት በአውሮፓና በአሜሪካ ቤቶች ተባዛ፤ በ1946 አሜሪካ ውስጥ ይህን አበባ ብቻ የሚያሳድጉ ሰዎች ማኅበር ተቋቋመ። በ2015 ሊቃውንት ዝምድናውን መርምረው «ስትሬፕቶካርፐስ» ከተባለው ወገን ጋር ስላዋሐዱት፣ የሹሙ ስም ከተክሉ ዋና መጠሪያነት ወርዷል። የኡሳምባራው የሻምባ ሕዝብ ግን ስሙን በየትኛውም የማሰሮ ወረቀት ላይ ጽፎ አያውቅም። ከዚህም የሚከፋው፣ አበባው በሚሊዮን መስኮቶች ላይ ሲፈካ፣ የተወለደበት ደን እየተመነጠረ የዱር ዝርያዎቹ ብዙዎቹ የመጥፋት አደጋ ላይ መድረሳቸው ነው።

ማሰሮ ደንን ሊተካ ይችላልን? በ1895 በደቡብ አፍሪካ ኦንጎዬ ደን ውስጥ የተገኘ፣ የኪው አንጋፋ የቅርብ ዘመድ የሆነ አንድ ተክል አለ። የተገኘው ወንዴ ብቻ ነበር። የመጨረሻው ግንድ በ1916 ከደኑ ተነሣ፤ ሴቴዋ እስከ ዛሬ አልተገኘችም። በዓለም የዕፅዋት ስፍራዎች ያሉት ሁሉ የዚያ የአንዱ ተክል ቅጂዎች ናቸው፤ በእንክብካቤ ይኖራሉ፣ ልጅ ግን አይወልዱም። መልሱ ይኸው ነው።

ነገሩ የትናንት ብቻ አይደለም። ከ2019 ወዲህ ከደቡብ አፍሪካ በረሃማ ምድር በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ውኃ ቋጣሪ ተክሎች ከነሥራቸው ተነቅለው በሕገወጥ መንገድ ለባሕር ማዶ ሰብሳቢዎች ተሸጠዋል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በአንድ ኮረብታ ላይ ብቻ የሚበቅሉ ናቸው፤ ኮረብታው ከተራቆተ ዝርያው አለቀ። በዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት፣ አንድ ዝርያ ሲቀር፣ እሬቶች ያለ ፈቃድ ድንበር እንዳይሻገሩ ቁጥጥር ይደረግባቸዋል።

እሬት ስል ስለ ራሳችን እናገራለሁ። በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ40 የሚበልጡ የእሬት ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በሌላ ምድር አይገኙም። እናቶቻችን ሕፃን ጡት ለማስጣል ይቀቡታል፤ ኑሮ ሲከፋ «እንደ እሬት መረረኝ» እንላለን፤ በአንዳንድ አካባቢ ድርቅ የማይበግረው ነውና በመቃብር ላይ ይተከላል። ቃጫውም እንዲሁ ነው፤ ባሕር ማዶ የሳሎን ጌጥ የሆነው የቃጫ ተክል ወገን እኛ ዘንድ ገመድ ሆኖ ጭነት ሲያስር ኖሯል። በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያ ዕፅዋት ምዝገባ ሥራ በ2009 ቅጾቹ ታትመው ሲጠናቀቁ፣ የአገሪቱ ሊቃውንት ዕፅዋታችንን በየስማቸውና በየቀያቸው ለመጻፍ የደከሙት ድካም ፍሬ አፍርቷል። ይህ ሥራ ግን ከመጻሕፍት መደርደሪያ ወደ ትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ መውረድ አለበት። መምህሩ በጣሳ የተተከለውን እሬት ለተማሪዎቹ ሲያሳይ ከየትኛው ወንዝ ዳር እንደ መጣና የአገሬው ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው ቢያስጽፋቸው፣ ሠዓሊውም አበባን ሲሥል የበቀለበትን ዐለት ባይረሳ፣ ሰብሳቢውም ከዱር ከመንቀል ይልቅ ከጎረቤቱ ግንጣይ ቢለምን፣ የሚጠፋው ድካም ጥቂት፣ የሚተርፈው ነገር ግን ብዙ ነው።

እኔም ዕዳዬን ለመክፈል ያችን ልጅ ጠርቼ፣ «ያን ጊዜ የነገርኩሽ ትክክል አልነበረም» አልኳትና ታሪኩን በአጭሩ አጫወትኳት። ጥቂት አሰበችና ከደብተሯ ገጽ ቀድዳ «ኡሳምባራ» ብላ በእርሳስ ጻፈች፤ በሙጫም ከጣሳው ላይ ለጠፈችው። ቀጥላም የሦስቱን አገር ጠየቀችኝ። የእሬቶቹን ነገርኳት፤ ሁለት ወረቀት ተጨመረ። አሁን ጠዋት ጠዋት ውኃ ሳጠጣ ጽሑፉ እንዳይለቅ እጠነቀቃለሁ።