ድርና ድንጋይ

በአዲስ አበባ፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ «ቡልጋሪያ» የሚባል ሠፈር አለ። ስሙን ያወረሰው የቡልጋሪያ ኤምባሲ ነው። የታክሲው ረዳት «ቡልጋሪያ! ቡልጋሪያ!» እያለ ሲጣራ ከተሳፋሪው መካከል ሶፍያን ወይም የባልካንን ተራሮች የሚያስታውስ መኖሩ ያጠራጥራል። ቃሉ ከሩቅ መጥቶ የእኛ ሆኗል። ለዚህ ጽሑፍ ግን ያ ሩቅ አገር ራሱ መነሻ ይሆነናል፤ በሃያኛው ምዕተ ዓመት ጨርቅንና ክርን በድንጋይና በነሐስ ጎን ካስቀመጡት የቅርጻ ቅርጽ ሰዎች መካከል ሁለቱ የቡልጋሪያ ልጆች ናቸውና።

አንደኛው በ1935 እ.ኤ.አ. ጋብሮቮ በምትባል ከተማ የተወለደው ክሪስቶ ነው። ከባለቤቱ ከዣን ክሎድ ጋር በመሆን በ1985 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የፖን ኔፍን ድልድይ፣ በ1995 እ.ኤ.አ. ደግሞ በበርሊን የራይኽስታግን ሕንፃ በጨርቅ ጠቀለለ። ለበርሊኑ ሥራ ከ100,000 ካሬ ሜትር በላይ ጨርቅ ዋለ። ጨርቁ የቆየው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው፤ ነገር ግን መስኮቱና ጌጡ በተሸፈነ ጊዜ የሕንፃው ትከሻና ወገብ ተገለጠ። ሁለተኛው በ1932 እ.ኤ.አ. የተወለደው ማሪን ቫርባኖቭ ነው። በወጣትነቱ ቻይና ሄዶ ተማረ፤ በግድግዳ ላይ ይሰቀል የነበረውን የሱፍ ሽመና ከግድግዳው አላቅቆ እንደ ሐውልት በአየር መካከል አቆመው። በመጨረሻም በሃንግዡ ከተማ ወጣት ቻይናውያንን ሲያስተምር ቆይቶ በ1989 እ.ኤ.አ. ዐረፈ። ሁለቱም ተጓዦች ነበሩ፤ ሁለቱም ቅርጽ የሚወለደው ከመሮና ከመዶሻ ብቻ ነውን? ብለው ጠይቀዋል።

ጥያቄው ግን በእነርሱ አልተጀመረም። የበግ ፀጉር ለዓይን የማይታይ ቅርፊት አለው። ሙቅ ውሃ ነክቶት ሲታሽና ሲረገጥ ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይቆላለፋል፤ ፀጉሩም ሳይፈተልና ሳይሸመን ጠንካራ ጨርቅ ይሆናል። ፈረንጆች ፌልት ይሉታል። ድር የለውም፤ ማግ የለውም። ሠሪው እርጥቡን ሱፍ በእጁ እየዳበሰ እንደ ፈቀደ ኮፍያ፣ ጫማ ወይም የኮርቻ ልብስ ያደርገዋል። ስለዚህ ሥራው ከሸማኔ ይልቅ ለሸክላ ሠሪ ይቀርባል። በ1949 እ.ኤ.አ. በአልታይ ተራሮች፣ ፓዚሪክ በተባለ ቦታ፣ በበረዶ ተጠብቆ ከኖረ መቃብር ውስጥ ከፌልት የተሠሩ የውሃ ወፎች ወጥተዋል። ዕድሜያቸው ከ2,200 ዓመት ይበልጣል። ውስጣቸው ተጠቅጥቆ፣ አንገታቸው ቀና ብሎ፣ ከዚያ ዘመን ከተቀረጸ ድንጋይ ባላነሰ ክብር ቆመዋል። ከሱፍ የተሠራው ሐውልት የዘመናችን ፈሊጥ ሳይሆን የጥንት እረኞች ጥበብ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚመሰክር አይገኝም።

የእኛም ደጋ የሱፍ አገር ነው። በመንዝ ብርድ የሚኖረው ፀጉራም በግ ይሸለታል፤ ፀጉሩ ይፈተላል፤ ተሸምኖም ባና ይሆናል። ባና እንደ ፌልት በመታሸት ብቻ አይሠራም፤ ድርም ማግም አለው። ይሁን እንጂ ውፍረቱና ክብደቱ ከጥጥ ልብስ ይለየዋል። ነጠላ ይፈስሳል፤ ባና ይቆማል። ባና ተከናንቦ ከገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ እረኛ በንጋት ጭጋግ ሲታይ፣ ከተቀመጠበት አለት ጋር አብሮ የተጠረበ ይመስላል። የተውኔት ሰው እንደ መሆኔ ይህንን በመድረክ ላይ ደጋግሜ አይቻለሁ። ለተዋናዩ ነጠላ ስትሰጠው እጁ ይናገራል፤ ባና ስትደርብለት ግን እጁ ዝም ይልና ትከሻው ይናገራል። ባናውን የፈተለችው ሴትና የሸመነው ሰው በመዝገብ ውስጥ እንደ ቀራፂ የተጻፈ ስም የላቸውም፤ የሰውን አካል ቅርጽ ግን እነርሱ ወስነውታል።

እነዚህ የሱፍ ሰዎች አዲስ አበባ ቢገቡ የሚጠብቃቸው የሌላ ዓይነት ቅርጽ ነው። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በዘውድ በዓሉ ዋዜማ ተመረቀ። በባቡር ጣቢያው ፊት የቆመውን የይሁዳ አንበሳ የቀረጸው ፈረንሳዊው ዦርዥ ጋርዴ ነው። የየካቲት 12ን የሰማዕታት ሐውልት ዩጎዝላቪያውያኑ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ሠሩት። በ1977 ዓ.ም. የቆመው የትግላችን ሐውልትም የተሠራው በሰሜን ኮሪያ እርዳታ ነው። እነዚህ ሐውልቶች የሚያነሡት ታሪክ የእኛ ነው፤ ከእንባችንና ከደማችን ጋር የተያያዘ ስለ ሆነም እናከብራቸዋለን። ሆኖም ቅርጹን የጨበጠው እጅ በአመዛኙ የውጭ እጅ ነበር፤ ሕዝቡም ከታች ቆሞ ቀና ብሎ ማየትን እንጂ በእጁ ማወቅን አልተማረባቸውም።

ልብስ የሚያውቅ ሰው ግን ከታች ቆሞም ሌላ ነገር ያያል። ሌላው ተመልካች የምኒልክን ፊትና የፈረሱን እግር ሲያይ፣ ፈታይና ሸማኔው የንግሥ ልብሱን እጥፋት ያያሉ። በአቡነ ጴጥሮስም ሐውልት ላይ ዓይናቸው የሚያርፈው ከትከሻ እስከ እግር በሚወርደው ቀሚስ ላይ ነው። የሐውልት ቀራፂ ከሥራው የሚበዛውን ክፍል ያዋለው ጨርቅን በነሐስና በድንጋይ ለመናገር መሆኑን ይገነዘባሉ። ፊት የአንድ ሰው ነው፤ የጨርቅ እጥፋት ግን የክብደት፣ የነፋስና የዕድሜ ታሪክ ነው። ሱፍ የዳበሰ እጅ በሐውልት የሚደሰተው በዚህ መንገድ ነው።

ድሩንና ድንጋዩን ያስታረቀው ሰው ደግሞ ከቂርቆስ ወጣ። በ1968 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወልዶ በዚሁ ሠፈር ያደገው ኤልያስ ስሜ፣ ገና በልጅነቱ ልብስ መስፋትን፣ ጥልፍንና የቤት ዕቃ መጠገንን ራሱን አስተማረ። በ1990 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመርቆ ሲወጣም መርፌውን አልጣለም። በሸራ ላይ በቀለም ፋንታ ክር በክር ሰፋ። ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ቁልፍና ቆርኪ፣ ኋላም የኮምፒዩተርና የስልክ ሽቦ ገዝቶ እንደ ሹሩባ እየጎነጎነ ትላልቅ ገጾችን ሠራ። ከሩቅ ሲታዩ ከአውሮፕላን የታየ እርሻ ይመስላሉ፤ ሲቀርቧቸው የእያንዳንዱ ሽቦ ጉብታ ለእጅ ይጣራል። በ2009 እ.ኤ.አ. በሳንታ ሞኒካ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ቢየናሌ ሥራው ለዓለም ታየ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ስንሰማ የኖርነው ስለ ሕዝብ አንድነት ነው፤ እዚህ ግን ቃል በቃል ተፈጸመ። የነሐስ አንበሳ በቆመባት ከተማ፣ ክር ተባብሮ ከሐውልት እኩል ሆነ።

ኤልያስ ይህንን ዓይን ያገኘው በከተማ ብቻ አይደለም። ከአንትሮፖሎጂ ባለሙያዋ ከመስከረም አሰግድ ጋር ወደ ገጠር እየተጓዘ የጥንቱን ሥርዓትና የቤት አሠራር ተመልክቷል። ሁለቱ ያቋቋሙት፣ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው የዞማ ሙዚየም ግድግዳ የቆመው ከጭቃና ከጭድ ነው። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የሚይዘው ጭዱ ነው። እንግዲህ ጭድ የግድግዳው ድር ነው ማለት ይቻላል። በዚያ ግድግዳ ላይ የተቀረጸው ጌጥ ዛሬ እንደ ቅርጻ ቅርጽ ይደነቃል።

ይሁንና ያንኑ ጭቃና ጭድ ያቦኩ እጆች ለብዙ ዘመን የአዲስ አበባን ሠፈሮች ሠርተው ነበር። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ አሮጌ ቤቶች በብዛት ሲፈርሱ ግድግዳው ተሰነጠቀ፤ ከስንጥቁም ጭዱ እንደ ክር ወጥቶ ታየ። ጠባብና ያረጀ ቤት ለዘላለም ይኑር አልልም፤ ነዋሪው የተሻለ ቤት ይገባዋል። የምፈራው ከቤቱ ጋር የእጁም ዕውቀት እንዳይፈርስ ነው። ቤት በዓመት ይሠራል፤ እጅ ግን ከእጅ ካልተማረ በትውልድም አይመለስ። ስለዚህ ፈታይዋ፣ ሸማኔውና መራጊው በሕይወት ሳሉ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ የመምህር ወንበር ይሰጣቸው። ለነሐሱ ሐውልት መሠረት እንደምንጥል ሁሉ፣ ለእነርሱም አንድ ክፍል፣ አንድ እንዝርትና ጥቂት የመንዝ ሱፍ አይጥፋ።