ጥቁር ሐሞት፦ የጥበባዊ ትካዜ ታሪክ ከሥዕል እስከ ሮክ ሙዚቃ



የዛሬው ንግግሬ አንድን አሮጌ እምነት ይመረምራል። እምነቱ ታላቅ ጥበብ ከታላቅ ሐዘን ይወለዳል፤ ስለዚህም ነፍሱ ያልታመመች ሰው ታላቅ ሥራ ሊሠራ አይችልም የሚል ነው። ይህን አባባል በሠዓሊዎችም በሙዚቀኞችም ዘንድ እንሰማዋለን። የተፈጥሮ ሕግ ስለሚመስለንም የትና መቼ እንደ ተጀመረ አንጠይቅም። እኔ ግን መነሻውን ልፈልግ፤ ከአውሮፓ ሥዕልና ከሮክ ሙዚቃ ጥቂት ሥራዎችን አንሥቼም እምነቱ ከሥራዎቹ ታሪክ ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ ላሳያችሁ እወዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስሙን እንመልከት። አውሮፓውያን «መላንኮሊያ» የሚሉት ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን ፍችው «ጥቁር ሐሞት» ነው። የጥንት ግሪክ ሐኪሞች የሰው ጤና በአራት ፈሳሾች፣ ማለትም በደም፣ በአክታ፣ በቢጫ ሐሞትና በጥቁር ሐሞት ሚዛን ይጠበቃል ብለው ያስተምሩ ነበር። ጥቁሩ ሐሞት ከጣፊያ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በበዛ ጊዜ ሰውየውን ፍርሃትና ሐዘን ይይዘዋል ይሉ ነበር። በእኛ ቋንቋ ደግሞ ሐሞት የወኔ ማደሪያ ነው፤ ወኔ የከዳውን ሰው «ሐሞቱ ፈሰሰ» እንላለን። እነርሱ የሐሞትን መብዛት ሲፈሩ እኛ መፍሰሱን እንፈራለን። ስለዚህ ቃሉን እንዳለ ከመመለስ ይልቅ «ትካዜ» የሚለውን የራሳችንን ቃል መርጫለሁ፤ በትካዜ ውስጥ ሐዘንም ሐሳብም አሉና።

ትካዜን ከጥበብ ጋር ያጋባው ጥንታዊ ጽሑፍ በአርስቶትል ስም የሚታወቀው የጥያቄዎች ስብስብ ነው። በሠላሳኛው ክፍሉ በፍልስፍና፣ በፖለቲካ፣ በግጥምና በኪነ ጥበብ የላቁ ሰዎች ለምን ተካዦች እንደ ሆኑ ይጠይቃል። ጥያቄው መልሱን አስቀድሞ እንደ ያዘ ልብ በሉ፤ ተካዦች መሆናቸውን ሳይመረምር ምክንያቱን ብቻ ይፈልጋል። ይህን ሐሳብ በ1489 ዓ.ም. የፍሎረንሱ ፈላስፋ ማርሲሊዮ ፊቺኖ ስለ ሕይወት በጻፋቸው ሦስት መጻሕፍት አደሰው። ራሱ ተካዥ ነበርና የሊቃውንትን ትካዜ አከበረው። ይሁን እንጂ መጻሕፍቱ ሊቃውንት ጤናቸውን እንዴት እንዲጠብቁ፣ ምን እንዲበሉ፣ መቼ እንዲተኙ፣ በምን ዜማ እንዲጽናኑ በሚያስረዳ ምክር የተሞሉ ናቸው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ብዙዎች ውዳሴውን ሲያስታውሱ ምክሩን ዘነጉት።

የዚህ ታሪክ ዋነኛ ሥዕል ጀርመናዊው አልብሬክት ዱረር በ1514 ዓ.ም. በመዳብ ሰሌዳ ቀርጾ ያተመው «መላንኮሊያ አንድ» ነው። ክንፍ ያላት ሴት ጉንጯን በጨበጠችው እጇ ደግፋ ተቀምጣለች። በሌላ እጇ ኮምፓስ ይዛለች፤ ነገር ግን አትለካበትም። ከእግሯ ሥር መጋዝ፣ መላጊያና ምስማር ተበታትነዋል፤ ከበላይዋ የአሸዋ ሰዓት፣ ሚዛንና ደወል ተሰቅለዋል። በግድግዳው ላይ በየትኛውም አቅጣጫ ቢደመር 34 የሚሰጥ የቁጥሮች ሰንጠረዥ ይታያል፤ በታችኛው ረድፍ መካከል 15 እና 14 ጎን ለጎን ቆመው ዓመተ ምሕረቱን ያመለክታሉ። የዱረር እናት ያረፈችውም በዚያው ዓመት ነበር። ሴቲቱ ዕውቀትም መሣሪያም አልጎደላትም፤ ሥራ ግን ቆሟል። ሥዕሉ እንግዲህ ትካዜ ሥራን ሲወልድ ሳይሆን ሲያስቆም ያሳየናል። ሥዕሉ ራሱ ደግሞ መስመር በመስመር፣ በጸና እጅና በብዙ ትዕግሥት የተሠራ ነው። ሴቲቱ ተቀምጣለች፤ ዱረር ግን እየሠራ ነበር።

ከዱረር ሥራዎች አንድ ትንሽ ንድፍም መጥቀስ አለብኝ። በዚህ ንድፍ ራሱን ከወገቡ በላይ ራቁቱን ሥሎ፣ በግራ ጎኑ በጣፊያው አካባቢ ያለችን ቢጫ ቦታ በጣቱ ያመለክታል፤ የሚያመው እዚያ እንደ ሆነም በጽሑፍ ገልጿል። ለሐኪም ለማሳየት እንደ ሣለው በሰፊው ይታመናል። የአውሮፓን ትካዜ መልክ የሰጠው ሠዓሊ የራሱን ሕመም የሊቅነት ማስረጃ አላደረገውም። ሐኪም ሊያየው የሚገባ ሕመም አድርጎ ነበር የያዘው።

ሥዕልና ሙዚቃ በትካዜ ዙሪያ የሚገናኙበትን ታሪክ እናንተ ከመጽሐፍ ቅዱስ ታውቁታላችሁ። ንጉሥ ሳኦል ክፉ መንፈስ ሲያስጨንቀው ዳዊት በገና ይደረድርለት ነበር፤ እኛም በገናን ዛሬ ድረስ የዳዊት መሣሪያ እንለዋለን። ሆላንዳዊው ሬምብራንት ይህን ታሪክ ሲሥል ሳኦልን ጦሩን እንደ ያዘ፣ እንባውንም በመጋረጃ ሲጠርግ አሳይቶታል። ሥዕሉ በዘ ሄግ ማውሪትስሃውስ ሙዚየም ይገኛል። እዚህም በገና የሚመታው የታመመው ሰው አይደለም። ሙዚቃ ለሕመሙ የሚቀርብ እፎይታ ነው፤ ከሕመሙ የሚወጣ ፍሬ ሆኖ አልቀረበም።

በ19ኛው መቶ ዘመን ግን ትካዜ የጥበበኛው መታወቂያ ሆነ። ኖርዌያዊው ኤድቫርድ ሙንክ በ1890ዎቹ ጉንጩን ደግፎ በባሕር ዳር የሚተክዝ ሰው ደጋግሞ ሣለ፤ የዱረር ሴት አቀማመጥ ከአራት መቶ ዓመታት ገደማ በኋላ ተመልሶ መጣ። ሙንክ በልጅነቱ እናቱንና እኅቱን በሳንባ ነቀርሳ ያጣ ሰው ነበር፤ ሕመሙ ከጥበቡ ሊነጠል እንደማይችልም ያምን ነበር። በ1908 ዓ.ም. አእምሮው ሲታወክ ኮፐንሀገን በሚገኝ ክሊኒክ ገብቶ ወራት ታከመ። ከዚያም ወጥቶ ለኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ታላላቅ ሥዕሎችን ሠራ። በ1916 ዓ.ም. ከተመረቁት ከእነዚህ ሥዕሎች ዋነኛው ከባሕር በላይ የምትወጣ ፀሐይ ናት። በ80 ዓመቱ በ1944 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስም ብሩሹን አልጣለም። ከሕክምናው በፊት የሣላቸው ይበልጣሉ የሚሉ ተቺዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ሙንክ ራሱ የፈራው ሁሉ አልደረሰም፤ ታክሞም ሠዓሊ ሆኖ ኖረ።

ወደ ሮክ ሙዚቃ ስንመጣ እምነቱ ዋጋ ሲያስከፍል እናያለን። ጆይ ዲቪዥን የተባለው የማንችስተር ቡድን «ክሎዘር» የተሰኘ አልበሙን በ1980 ዓ.ም. አወጣ። በሽፋኑ ላይ ጣሊያን ውስጥ በጄኖዋ ስታልዬኖ መካነ መቃብር የሚገኝ፣ በሟች ዙሪያ የሚያለቅሱ ሰዎችን የሚያሳይ ሐውልት ፎቶግራፍ አለ። ዘፋኙ ኢያን ከርቲስ የሚጥል በሽታና ድባቴ ነበረበት። አልበሙ ለገበያ ከመቅረቡ ሁለት ወራት በፊት፣ በግንቦት ወር፣ በ23 ዓመቱ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ሽፋኑ የተመረጠው ከሞቱ በፊት ነው፤ አድማጩ ግን ከዚያ በኋላ ሐውልቱን እንደ ትንቢት ግጥሙንም እንደ ኑዛዜ ያነበው ጀመር። የቡድኑ ባልደረቦች በበኩላቸው ግጥሞቹን የጥበብ ሥራ አድርገው ብቻ እንደ ሰሟቸው፣ ጓደኛቸው ስለ ራሱ እየተናገረ መሆኑን እንዳልተረዱ በኋላ ተናግረዋል። አሮጌው እምነት ያደረሰው ጉዳት ይህን ይመስለኛል፤ ከዘፋኝ አፍ የሚወጣ ሥቃይ ሁሉ ውበት ብቻ ስለሚመስል እርዳታ ለሚሻ ሰው የሚደርስለት ይጠፋል።

ከ15 ዓመታት በኋላ፣ በ1995 ዓ.ም.፣ የቺካጎው ስማሺንግ ፓምፕኪንስ ስሙ በ«መላንኮሊ» ቃል ላይ የሚጫወት፣ 28 ዘፈኖች ያሉት ድርብ አልበም አወጣ። በሽፋኑ ላይ ያለችው ልጅ ከሁለት አሮጌ ሥዕሎች የተቀጠለች ናት፤ ገላዋ ከራፋኤል ቅድስት ካትሪን፣ ፊቷ ከፈረንሳዊው ግሮዝ ሥዕል ተወስዷል። የራፋኤል ሰማዕት ዓይኗን ወደ ሰማይ ያነሣች፣ የግሮዝ ልጃገረድ ውሻዋን ያቀፈች ናት። በመጀመሪያ ቦታቸው አንዷ የእምነት፣ ሌላዋ የፍቅር ሥዕል ነበሩ፤ የትካዜ ገጽ የሆኑት በአዲሱ ሽፋን ላይ ነው። ይህም ትካዜ ከደም የሚመነጭ ብቻ ሳይሆን በዕውቀት የሚቀናበር፣ ሙያ የሚጠይቅ የጥበብ መልክ መሆኑን ያሳያል።

ውድ ተማሪዎች፤ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ፍርድ አጭር ነው። ሐዘን የጥበብ ርእስ መሆኑን አልክድም፤ ሐዘንተኛን ያጽናኑ ሥራዎች ብዙ ናቸው። ርእስ መሆንና ምንጭ መሆን ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለሥራዎቹ ምንጫቸው ትዕግሥት፣ ልምምድ፣ የሰለጠነ ዓይንና ጆሮ ነው። በየቤታችን ልጅ ጉንጩን ደግፎ ሲቀመጥ እናት «ምን ሆነሃል?» ብላ ትጠይቃለች እንጂ ሊቅ ሊሆን ነው ብላ አታልፈውም። ሥዕሉ ወይም ዘፈኑ ለሚያስደንቀን ባልደረባችንም ይኸው ጥያቄ ይገባዋል። ከመካከላችሁ ትካዜ የከበደበት ቢኖር፣ መታከም ጥበቡን ይወስድብኛል ብሎ አይፍራ፤ ዱረር የሚያመውን ቦታ በጣቱ አሳይቷል፣ ሙንክም ከክሊኒክ ወጥቶ ፀሐይን ሥሏል።